የብር መለከቱ እንዲቀርና ባዶው ገመድ ቤት እንዲጠበቅ

ለሃርዊክ ፎልስ ከተማ ምክር ቤት
የእሳት ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ለክቡር ሚስተር ሳይላስ ፔምብሩክ

ጁን 26 ቀን 1854
ሃርዊክ ፎልስ፣ ፔንስልቬኒያ

ጉዳዩ፦ ሁለቱ የእሳት አጥፊ ማኅበራት የሚሽቀዳደሙበት ሽልማት እንዲቀር፣ በታችኛው ወንዝ መንገድ ላለው ባዶ የገመድ ፋብሪካ ዘብ እንዲቆምለት፣ የባለቤቴም ስም ከእሳት አጥፊዎች መዝገብ እንዲሰረዝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ጆሃና ሄፈርናን በሦስተኛው ሰፈር በቆዳ ፋቂዎች መንገድ የምኖር፣ የሰው ልብስ በማጠብ የምተዳደር ሴት ነኝ። ባለቤቴ ኮርኔሊየስ ሄፈርናን ቀን ቀን በብረት ማቅለጫው በአካፋ ከሰል ይዝቃል፤ ደወል ሲደወል ደግሞ የብሬንዳን እሳት አጥፊ ማኅበር ምክትል አለቃ ነው። ከዚህ በፊት ለማንም መሥሪያ ቤት ጽፌ አላውቅም። ማንበብ የለመድኩት ሳሙና ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣ ስለሆነ፣ ክቡርነትዎ በአጻጻፌ ስሕተት እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ። ማንም አልላከኝም። ይህን መጻፌንም የሚያውቅ የለም።

1. የማቅለጫው ባለቤቶች በየዓመቱ በነጻነት ቀን፣ ማለትም ጁላይ 4፣ በዓመቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቀድሞ በእሳት ላይ ውሃ ለረጨ ማኅበር የብር መለከት እንደሚሸልሙ ክቡርነትዎ ያውቃሉ። እሳት አጥፊዎቻችን ደመወዝ የላቸውም፤ ደመወዛቸው ያ መለከት ነው። አምና የወሰደው ተፎካካሪያችን የአገር ተወላጆች ማኅበር ነበር፤ አባላቱ እዚሁ የተወለዱ፣ እኛን ባሕር ተሻግረን የመጣነውን የሚንቁ ናቸው። መለከቱን ከፍ አድርገው በእኛ መንገድ ሲያልፉ፣ «እናንተ ድንች በላዎች፣ ይህን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኑ፣ ጆሯችሁ ላይ እንንፋላችሁ!» ይሉ ነበር። የእኛ ሰዎችም ከየደጁ ሆነው፣ «ንፉት፣ ንፉት! ቤታችሁ ሲቃጠል እኛን የምትጠሩበት ይሆናችኋል» አሏቸው። መንገዱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄአለሁ። ዘንድሮ ግን ያ ቀልድ ቀልድ አልመስል ብሎኛል።

2. የበርሜሉን ነገር ምናልባት በወሬ ሰምተውት ይሆናል። ደወል እንደተደወለ እያንዳንዱ ማኅበር ከፓምፕ ጋሪው አስቀድሞ አንድ ሯጭ ይልካል። ሯጩ ግርጌው የወለቀ በርሜል ተሸክሞ ሄዶ፣ ለእሳቱ ቅርብ በሆነው የመንገድ ውሃ ቧንቧ ላይ ይደፋውና ይቀመጥበታል። የራሱ ማኅበር እስኪደርስ አይነሳም። ሌላው ማኅበር ቀድሞ ቢደርስ እንኳ ውሃ የሚያገኘው ሰውየውን ደብድቦ ካነሳው ብቻ ነው።

በመጋቢት የዳቦ ጋጋሪው የሽሮደር ቤት የተቃጠለ ዕለት በበርሜሉ ላይ የተቀመጠው ባለቤቴ ነበር። እኔ በቦታው ቆሜአለሁ። የአገር ተወላጆች ማኅበር ጋሪውን አድርሶ ቱቦውን ዘርግቷል፤ እሳቱም ገና ከምድር ቤቱ አልወጣም። ሽሮደር ጭቃው ላይ ተንበርክኮ፣ «ሄፈርናን፣ ወንድሜ፣ ተነስ! የማንም ውሃ ይሁን፣ ውሃ ነው!» ይለዋል። ባለቤቴም፣ «ትንሽ ታገሥ ሽሮደር፣ ልጆቹ ማዕዘኑን ዞረዋል፤ ደረሱልህ» አለው። የክፋት ድምፅ አልነበረም። እንዲያውም ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ልጆቹ የተባሉት ሲደርሱ ጣራው ገብቷል። ሽሮደርና ሚስቱ ወጡ፤ የሚስቱ እናት አልወጡም። አሮጊቷ ሲቀበሩ ባለቤቴ የማኅበሩን ቀይ ሸሚዝ ለብሶ ሬሳ ተሸካሚ ነበር። እያለቀሰም ነበር። ለብሬንዳን ማኅበርም በዚያ ቤት ላይ «ቀድሞ ውሃ የረጨ» ተብሎ ተቆጠረለት።

ባለቤቴ ጨካኝ ሰው እንዳልሆነ ክቡርነትዎ እንዲረዱልኝ እፈልጋለሁ። በአገራችን ድንቹ በእርሻው በስብሶ ረሃብ በገባበት ዘመን እናቱን በጀርባው አዝሎ ወደብ ድረስ የሄደ ሰው ነው። እዚህ ከመጣን በኋላ ለብዙ ዓመት በማቅለጫው ስሙን የጠራው የለም፤ የአገራችንን ሰው ሁሉ በንቀት እንደሚጠሩት «አንተ ፓዲ» ነበር ስሙ። የመምህሩን ሚስት ከሚቃጠል ቤት በመሰላል ይዞ የወረደ ዕለት አንድ የተከበረ ሰው ባርኔጣውን አንሥቶ «ሚስተር ሄፈርናን» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሳት አጥፊነት ቆቡ ከአልጋችን በላይ ተሰቅሏል፤ መስቀሉን ወደ ጎን አዛውሮታል። ጢስ የበላው ሳንባው ሌሊት ሲያስለው ተነሥቶ ቆቡን ይወለውላል።

3. ከትንሣኤ በዓል ወዲህ በሰፈራችን ሰው የማይኖርባቸው ሦስት ቤቶች ተቃጥለዋል፤ ሥራ ያቆመው የበርሜል ሠሪው ቤት፣ የጀልባ መጠገኛው፣ በቅርቡም የአሮጌው ጡብ ፋብሪካ ጋጣ። ሰው አልተጎዳም። በሦስቱም የብሬንዳን ማኅበር ቀድሟል።

ማን እንዳቃጠላቸው አላየሁም፤ ያላየሁትንም በሰው ላይ አልጽፍም። ያየሁት ይህ ነው። የጀልባ መጠገኛው በተቃጠለ ማግሥት የባለቤቴን ሸሚዝ ሳጥብ እጅጌው የመብራት ዘይት ይሸት ነበር። በቤታችን የምናበራው የሞራ ሻማ ነው። ጋጣው የተቃጠለው ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር። ጎመንና የአሳማ ሥጋ አቅርቤለት ቡትስ ጫማውን ሳያወልቅ ይበላ ነበር። ሻዩን አጋምሶ አስቀመጠና ተነሥቶ ቆመ። ምን ሆንክ ልለው ስል ደወሉ ተደወለ።

ክቡር ሆይ፣ ከደወሉ በፊት ነው የተነሣው።

4. አሁን ሁለቱ ማኅበራት እኩል ናቸው። ከነጻነት ቀን በፊት አንድ እሳት ያገኘ መለከቱን ይወስዳል። ይህ በመጠጥ ቤቱም በውሃ መቅጃውም የሚወራ ነው። ጎረቤቴ ወይዘሮ ማክኢናርኒ ባሏም ወንድሟም በብሬንዳን ውስጥ ናቸው፤ «የእኔዎቹ ዕንቁላሏ እንደደረሰ ዶሮ መቀመጫ አጥተዋል፤ እስቲ አንዷ ጭስ እንኳ ትውጣላቸው!» ብላ ሴቶቹን ሁሉ አሳቀቻቸው። እኔ ባልዲዬን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሰፈራችን የቀረው ባዶ ቤት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የገመድ ፋብሪካው። ባለቤቶቹ ሲከስሩ ቃጫውንና ሬንጁን ውስጡ ትተውት ሄደዋል። የምሥራቅ ግድግዳው ልጄ ሮዛና ከተከራየችበት ቤት ጋር አንድ ነው፤ በመካከል ያለው ሳንቃ ብቻ ነው። ልጄ የምትኖረው በላይኛው ፎቅ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳለች፤ ደም ስለታየባት አዋላጇ ከአልጋ እንዳትወርድ፣ በቃሬዛም ቢሆን በዚያ ጠባብ ደረጃ እንዳትወሰድ በጥብቅ አዝዛለች። ባሏ በወንዝ ጀልባ ላይ ሠራተኛ ስለሆነ ከነሐሴ በፊት አይመጣም። በዚያ መንገድ ያለው የውሃ ቧንቧም አንድ ነው።

ባለፈው ሐሙስ የታጠበ ልብስ ላደርስ ወደ አንጥረኛው ወደ ሚስተር ትረምብል ሄጄ ነበር። የአገር ተወላጆች ማኅበር አለቃ እሱ ነው። ሸሚዞቹን እየቆጠረ፣ «ወይዘሮ ሄፈርናን፣ ለባልሽ ንገሪልኝ። ከእንግዲህ በርሜሉ የእኛ ነው። ገመድ ቤቱ ዓመድ እስኪሆን ተቀምጠንበት እንዘፍናለን» አለኝ። ሠራተኞቹም ሳቁ። የገመድ ቤቱን ስም ያነሣው እሱ ነው፤ እኔ ስለ ገመድ ቤት ለማንም ተንፍሼ አላውቅም ነበር።

5. ቤት ስገባ ለባለቤቴ ምክንያቱን ሳልናገር፣ ሮዛናን ወደኛ እናምጣት አልኩት። ፒፓውን ትንባሆ እየሞላ፣ «መልካም፤ ከቅዳሜ በፊት ይሁን» አለኝ። ለምን ከቅዳሜ በፊት እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ እሱም ያለውን የሰማው ካለ በኋላ ይመስለኛል፣ እጁ ቆመ። ልጅቷ ከአልጋ መውረድ እንደማትችል፣ ብትወርድ እሷም ፅንሱም እንደሚያልፉ አዋላጇ ያለችውን ነገርኩት። ፒፓውን ሳያቀጣጥል አስቀመጠው። ከዚያ፣ «አትስጊ ጆሃና፤ ምንም ነገር ቢመጣ እኛ ቀድመን እንደርሳለን። ከማንም በፊት እንደርስላታለን» አለኝ።

ከልቡ ነው ያለው። እኔን ያስፈራኝም ይኸው ነው። ሽሮደርንም ያታለለው አይመስለውም።

6. ወደ ሰፈራችን ፖሊስ እንዳልሄድ እሱ ራሱ የአገር ተወላጆች ማኅበር አባል ነው። ወደ ንስሐ አባታችን ሄጄ ነበር፤ የብሬንዳንን አዲስ ፓምፕ ጸበል ረጭተው የባረኩት ግን እርሳቸው ናቸው፤ ነገሬን ሰምተው፣ «ልጄ፣ ባልሽን አትጠርጥሪ፤ ጥርጣሬ ቤት ያፈርሳል» ብለው ሸኙኝ። ከሁለቱም ማኅበራት ወገን ያልሆነ የማውቀው ክቡርነትዎን ብቻ ነው።

ስለዚህ የምለምነው የሚከተለውን ነው፦

ሀ. ኮሚቴው ከማቅለጫው ባለቤቶች ጋር ተስማምቶ የዘንድሮው የብር መለከት ለማንም እንደማይሰጥ ከቅዳሜ በፊት በሁለቱም ማኅበራት ቤት በር ላይ እንዲለጥፍልኝ። መለከት ከሌለ እሳቱ ምን ያደርግላቸዋል?

ለ. ከላይኛው ከተማ የመጡ፣ ከሁለቱም ማኅበራት ያልሆኑ ሰዎች በገመድ ፋብሪካው በርና በመንገዱ ቧንቧ ላይ ቀንም ሌሊትም እንዲቆሙ፤ ቃጫውና ሬንጁም በከተማው ጋሪ ተጭኖ እንዲወጣ።

ሐ. የኮርኔሊየስ ሄፈርናን ስም ከእሳት አጥፊዎች መዝገብ እንዲሰረዝ፣ ቆቡንም እንዲያስረክብ።

ቆቡ ሲወሰድ ሰውየው ተመልሶ «አንተ ፓዲ» ይሆናል፤ ይህን ያደረገችው ሚስቱ መሆኗን ባወቀ ቀንም ከእኔ ጋር በአንድ ገበታ ዳግም አይቀመጥም። አውቄ ነው የጠየቅሁት። እንዲታሰር አልጠየቅሁም፤ በዳኛ ፊት ብቆምም ከላይ ከጻፍኩት ሌላ የምናገረው የለኝም። ማን አመለከተብህ ብሎ ቢጠይቅ ግን ስሜ ይነገረው። ሌላ ሰው ጠርጥሮ እንዳይጣላ።

ኮሚቴው ጉዳዩን ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ እንዳያስተላልፍብኝ በትሕትና አሳስባለሁ። በሚቀጥለው ወር ስለ ዘብ የሚለምን ሰው ላይኖር ይችላል።

የምትልኩልኝ መልስ በቆዳ ፋቂዎች መንገድ ወዳለው ቤቴ አይላክ። ከዛሬ ጀምሮ ከልጄ ዘንድ ነኝ፤ በታችኛው ወንዝ መንገድ፣ በላይኛው ፎቅ፣ በገመድ ፋብሪካው ግድግዳ በኩል ባለው ክፍል። ልጁ እስኪወለድ ከዚያ አልወጣም። ይህንኑ ዛሬ ጠዋት ለባለቤቴ ነግሬዋለሁ፤ በደንብ እንዲሰማኝ ብዬ ደግሜ ነገርኩት። ቁርሱን ጨርሶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ወደ ሥራው ሄደ።

የክቡርነትዎን መልስ ከቅዳሜ በፊት በመጠባበቅ፣

ከሰላምታ ጋር

ጆሃና ሄፈርናን
(ፊርማ)