የፉንዲ ሳጥንና የእቁባችን ዕጣ

ለውድ እህቴ ለእትዬ የውብዳር፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ሕመም ክረምቱ ሳይገባ ቀለለልሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ደህና ነኝ» እያልሽ ሸፋፍነሽዋል? ጋሽ ጥሩሰው ስኳሩን በየጊዜው ይለካል? ወይስ አሁንም «ሰው በመሣሪያ አይኖርም» እያለ ይከራከራል? ሕዝቅያስና ባለቤቱ፣ ልጆቹም ሁሉ ሰላም ናቸው? አሰላ ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? እዚህ ናይሮቢ ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ የኪሌሌሽዋ መንገድ ወንዝ ሆኗል፤ ከሥራ ወደ ቤት ስመለስ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነው የማረጀው። እኔም፣ ወርቂቱም፣ ሶፍያም ጤና ነን፤ ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ምንም አልጎደለብንም ብዬ ግን አልጽፍልሽም። አንድ ሰው ጎድሎብናል፤ ደብዳቤውም ስለ እሱ ነው።

ፋሲካ ዕለት ደውለሽ የተናገርሽኝ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። «አንተ ቱቦ እንኳ ሳትመረምር የማትጥል ሰው፣ ልጅህን ሳትመረምር ጣልከው» አልሽኝ። ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ ተናድጄ ቤቱን ስዞር ነው ያመሸሁት። ንዴቱ አሁንም ጨርሶ አልበረደልኝም። ነገር ግን ያልሽኝን አደረግሁ፤ መረመርኩ። ውጤቱን በስልክ ብነግርሽ መሃል ላይ አቋርጠሽ ስለምትስቂ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው።

ደብዳቤው ሲነበብ ጋሽ ጥሩሰውም እንዲከተል ከመነሻው ልጀምር። ልጄ ቃለአብ ዌስትላንድስ በሚገኝ የሒሳብ ምርመራ ቢሮ ጥሩ ሥራ ነበረው። ከረባት አስሮ ወጥቶ ከረባት አስሮ ይገባል። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ያንን ትቶ፣ ፉንዲ የሚባል አሻንጉሊት ወደሚያመርት ትንሽ ወርክሾፕ ገባ። ፉንዲ በስዋሂሊ የእጅ ባለሙያ ማለት ነው። አሻንጉሊቱ የአውራ ጣት ቁመት ያህላል። ጭንቅላቱ፣ ፀጉሩ፣ ገላው፣ እግሩና በእጁ የሚይዘው ዕቃ ለየብቻ ተደርጎ ከረጢት ውስጥ ይታሸጋል፤ ልጆች ገጣጥመው ይሠሩታል። ከረጢቱ ከውጭ ውስጡን አያሳይም። ልጁ የትኛው እንደደረሰው የሚያውቀው ከፍሎ ከቀደደው በኋላ ነው። ልጆች ይሰበስቡታል፣ ይለዋወጡታል፣ ይጣሉበታል። አዋቂዎችም ይሰበስባሉ ሲሉኝ አላመንኩም ነበር፤ ላቪንግተን ያለው የጥርስ ሐኪማችን ግን አፌን አስከፍቶኝ ሳለ ስለ ስብስቡ አወራልኝ።

የተጣላነው የጥምቀት ሰሞን ነው። ራት ላይ ቃለአብ አንድ ከረጢት ከፊቴ አስቀመጠ። ውስጡ ምን አለ ብለው፣ አይታወቅም፣ ደስታው እሱ ነው አለኝ። የሚገዛውን ሳያይ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ቁማርተኛ ነው፣ አንተም ሕፃናትን ቁማር የምታስተምር ሆነሃል አልኩት። እሱም ቀስ ብሎ፣ «አባዬ፣ የአንተስ እቁብ በዕጣ አይደለም?» አለኝ። እንደምታውቂው እዚህ የአበሾች እቁብ ዳኛ እኔ ነኝ። ይህን ሲለኝ ደሜ ፈላ። «በእቁብ ዕጣው የሚለየው ማን እንደሚቀድም እንጂ ማን እንደሚቀር አይደለም፤ ከእቁብ ባዶ እጁን የሚወጣ የለም» አልኩት። ለሁሉ የማያዳርስ ዕቃ ቤቴ እንዳይገባ ብዬ ጨመርኩ። ከረጢቱን አንስቶ ኪሱ ከተተና ወጣ። ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠም። ፋሲካ ዕለት እናቱ ወርቂቱ ይመጣል ብላ ሳህኑን አቀረበችለት፤ ሳህኑ ንጹሕ እንደሆነ ተነሣ። ከዚያ አንቺ ደወልሽ።

እንግዲህ ምርመራው። እኔ በምሠራበት የፕላስቲክ ቱቦ ፋብሪካ በአንድ ቱቦ አይፈረድም፤ ከአንድ ምርት ብዙ ናሙና ይወሰዳል። ስለዚህ ዌስትላንድስ የገበያ አዳራሽ ሄጄ ከፉንዲ ከረጢቶቹ የታጨቁበት አንድ ሙሉ ሳጥን፣ ከባሕር ማዶ ከሚመጣው፣ ብሪክሞ ከሚባለው ተመሳሳይ አሻንጉሊትም አንድ ሙሉ ሳጥን ገዛሁ። ሻጯ የማን ልደት ነው ብላ ስትጠይቀኝ ለምርመራ ነው አልኳት፤ ተቆጣጣሪ መጣብን ብላ ሥራ አስኪያጇን ጠራችብኝ። ሦስተኛውን ዓይነት የገዛሁት የትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ በመስኮት ከሚሸጡት ነው። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም። የብሪክሞ ርካሽ ቅጂ ነው፤ ሲከፈት ላምባ ላምባ ይሸታል፣ የመጀመሪያው አሻንጉሊት እግሩ እጄ ላይ ተሰበረ። ሰባራውን ወርቂቱ ሳታየኝ ብዬ ጣልኩት፤ ለካ አይታ ኖሮ «እሱንም ተቆጣኸው እንዴ?» አለችኝ።

ብሪክሞ በሥራ ጥራት አንደኛ ነው። ልጄ የሌላ ቤት ሠራተኛ ስለሆነ ብዬ ይህን አልደብቅም። ከረጢቱ ጫፉ ላይ ተቆርጦ ስለተዘጋጀ ያለ ጥርስ ይቀደዳል። ጭንቅላቱ አንገቱ ላይ ሲገባ ጠቅ የምትል ድምፅ አለች፤ ፕላስቲክ የሚያውቅ ሰው ያቺን ድምፅ ሰምቶ ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚፈስበትን ቅርጽ ማውጫ የሠራውን ሰው ያመሰግናል። ቀለሙ ከመስመር አይወጣም። ዜና እያየሁ ደጋግሜ ገጠምኩት፣ ነቀልኩት፤ አልላላም። ከሰገነታችን ወደ ግቢው ጣልኩት፤ ዘበኛው አንስቶ በአክብሮት አመጣልኝ።

ፉንዲ ደግሞ ከረጢቱ ወረቀት ነው፤ አቀዳደዱ መጥፎ ነው። ክንዱ ይላላል፤ ዕቃ ሲያሲዙት ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል፤ የደከመው ሰው ይመስላል። የጭንቅላቱ ኋላ ላይ የቅርጽ ማውጫው መጋጠሚያ ለጣት ይሰማል፤ ይህ በፍጹም ይቅር የማይባል ነው። ፀጉሩ በተቃራኒው ከመጠን በላይ ይጠብቃል፤ ሶፍያ የአንዷን ፀጉር ለማውለቅ ጥፍሯን ሰበረች። ሰዎቹ ግን ሰዎች ናቸው እትዬ። በብሪክሞ ውስጥ ያሉት ጠፈርተኛ፣ ጠንቋይ፣ ግማሿ ዓሣ የሆነች ሴት ናቸው። በፉንዲ ውስጥ ያለችው ጎመን የተሞላ ቅርጫት ያቀፈች ነጋዴ ናት፤ ማታቱ የሚሉት የዚህ አገር ታክሲ ረዳት አለ፣ በአንድ እግሩ በር ላይ የሚንጠለጠል፤ ግንበኛ አለ፣ ልብስ ሰፊ አለች፣ ኳስ ያመለጠው በረኛ አለ። የፊታቸው ጥቁረት የተለያየ ነው፤ እንደ አገሩ ሰው። አንዱ ቅንድቡ የተኮሳተረ፣ በእጁ ማስመሪያ የያዘ ሰውዬ ነው። ወርቂቱ እሱን አይታ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ምኑ ያስቃል ብላት መስታወት ሂድና እይ አለችኝ። ቅንድቡ የግራው ከቀኙ ከፍ ይላል፤ ጉድለቱን መዝግቤያለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የብሪክሞን ሳጥን ሙሉውን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩ። ጠፈርተኛው ወጣ። ቀጥሎ ጠንቋዩ። ቀጥሎ እንደገና ጠፈርተኛው፤ ትንሽ ቆይቶ አሁንም ጠፈርተኛው። ሶፍያ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገች «ፖሌ ሳና፣ ዳዲ» አለችኝ፤ ፖሌ እዚህ አገር ለተጎዳ ሰው የሚባል የማጽናኛ ቃል ነው። ሁሉም ልጅ የሚፈልገው ባለ ወርቅ ጋሻው ፈረሰኛ ደግሞ በሳጥኑ ውስጥ ጨርሶ የለም። ሶፍያ እንደነገረችኝ እሱ የሚገኘው ከስንት ሳጥን በአንዱ ነው፤ ልጆች እሱን ፍለጋ ነው ዓመቱን ሙሉ የሚገዙት። ይኸው ቁማር አላልኳችሁም ብዬ ጮኽኩ። ደስም አለኝ፤ ትክክል ሆኖ መገኘት የሚያስደስተው ሰው መሆኔን ታውቂያለሽ።

ከዚያ የፉንዲን ሳጥን ሳብኩ። ልጄን ጥፋቱ ላይ እይዘዋለሁ ብዬ ነበር የምከፍተው፤ ለአንቺ ይህን መሸሸግ ምን ይጠቅመኛል? ጎመን ሻጯ ወጣች። ረዳቱ ወጣ። ግንበኛው ወጣ። አሁን ይደገማል እያልኩ ቀደድኩ፤ ሰፊዋ ወጣች። ሶፍያ ገጣጥማ ታሰልፋቸዋለች። አሁን፣ አሁን እያልኩ የመጨረሻውን ቀደድኩ። አንድም አልተደገመም፣ አንድም አልቀረም። በሳጥኑ ላይ የተሳሉት ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ቆመዋል፤ ባለ ማስመሪያው ሰውዬ መጨረሻ ላይ።

ምናልባት አጋጣሚ ይሆናል አልኩ። በማግስቱ ከሌላ ሱቅ ሌላ ሳጥን ገዝቼ መጣሁ። እሱም እንደዚያው። ወርቂቱ ከወጥ ቤት ወጥታ እጇን በፎጣ እያደረቀች አየችኝና፣ «ያንተን ቃል ነው ይዞ የሄደው» አለችኝ። ለካ ነገሩን ሁሉ ታውቃለች። ልጁ ከእኔ ጋር ከተጣላ በኋላ ለወርክሾፑ ባለቤት፣ በአንድ ሳጥን ውስጥ ምንም እንዳይደገም፣ የማይገኝ ብርቅ የሚባልም እንዳይኖር እናድርግ ብሎታል። ባለቤቱ አብደሃል እንዴ፣ ካልተደገመ ማን ደጋግሞ ይገዛል ብሎ ተቆጣው። ቃለአብ ሒሳቡን ሠርቶ፣ ልጆች ተሰባስበው ሙሉ ሳጥን በጋራ ይገዛሉ፣ ማን ቀድሞ እንደሚያነሣ ዕጣ ይጣጣላሉ፣ ማንም ባዶ እጁን አይሄድም ብሎ ብዙ ጊዜ ተከራከረው። በመጨረሻ አሳመነው። አሁን የቤተ ክርስቲያናችን የሰንበት ትምህርት ልጆች እንደዚያ ያደርጋሉ፤ የራሳቸው ዳኛ መርጠዋል፤ እኔ ከምቀጣው የባሰ ያረፈደን ይቀጣል አሉ።

ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም ብዬ ወርቂቱ ላይ ተነሣሁባት። «አንተ እኮ ራስህ ካልለካኸው የሰው ወሬ አታምንም» አለችኝ።

እትዬ፣ ብዙ አሰብኩ። እኔ ያንን ቃል የወረወርኩት ልጁን ለመርታት ነበር። እሱ ግን አንሥቶ ሥራ ላይ አዋለው። ስንት መሐንዲስ አስተምሬ፣ ከነገርኳቸው ውስጥ እንዲህ አድርጎ የያዘልኝ አላጋጠመኝም። ሒሳብ ቢሮውን መተዉ አሁንም አይዋጥልኝም፤ ስለዚያ ሌላ ጊዜ እከራከረዋለሁ። ቁማር ያልኩትን ግን ስለ ፉንዲ አነሣሁ፤ በብሪክሞ ላይ እንዳለ ይቆያል።

ትናንት በስልክ ረጅም ጽሑፍ ላክሁለት። ስለ ክንዱ መላላት፣ ስለ ጭንቅላቱ መጋጠሚያ፣ ስለ ፀጉሩ መጥበቅ፣ ቅርጽ ማውጫው የት ላይ መስተካከል እንዳለበት ጭምር ጻፍኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም፤ እንዴት እንደሚጨመርም አላውቅም። መልሱ ቶሎ መጣ። «አባዬ፣ ሙሉ ሳጥኑን ከፈትከው?» ይላል። ከፈትኩት ብዬ መለስኩ። ከዚያ ክንዱ የሚላላው ፕላስቲኩ ሳይቀዘቅዝ ከቅርጽ ማውጫው ስለሚወጣ ይመስለኛል፣ መጥተህ ብታየው ብሎ ጻፈ። ነገ ቅዳሜ መለኪያዬን ይዤ ወርክሾፑ እሄዳለሁ።

ከነገ ወዲያ ደግሞ እቁባችን ነው። ቃለአብ ልጅ ሳለ ጭኔ ላይ ተቀምጦ ዕጣ ያወጣልን እንደነበር ታስታውሻለሽ፤ አንድ ጊዜ መጥተሽ ስታዪው እጁ ከጣሳው አልወጣ ብሎ አልቅሶ ነበር። የእቁባችን ጸሐፊ አወቀ ነው፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ ነው የምንሰበሰበው። ዛሬ ጠዋት ደወልኩለትና፣ የእሁዱን ዕጣ ቃለአብ ያወጣልናል አልኩት። አወቀም ሳቀ። ዕጣ የሚያወጣው ክፉና ደግ ያልለየ ሕፃን ነው፣ ያንተ ልጅ ጢሙ ከኔ ይበልጣል፣ አባላቱ ምን ይላሉ አለኝ።

«ዳኛው እኔ ነኝ» አልኩት።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የጎረቤታችን ልጅ ዮፍታሄ ነው፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ ሳይበላ እንዳትለቂው። በእጁ ከብሪክሞና ከፉንዲ አንድ አንድ ከረጢት ልኬልሻለሁ፤ አልተከፈቱም። እኔ ያልኩትን ትተሽ ራስሽ ፍረጂ፤ ጭንቅላቱን ስትገጥሚ ድምፁን አዳምጪ። ለሕዝቅያስ ልጆች አንድ ሙሉ የፉንዲ ሳጥን አለ። በዕጣ ይካፈሉ፤ ሚጣ ታናሽ ስለሆነች ዕጣውን እሷ ታውጣ።

ጋሽ ጥሩሰውን ጉልበቱን ስሜያለሁ በይልኝ፤ ስኳሩንም ይለካ። ሕዝቅያስን ሥራው እንዲቃናለት ተመኘሁ በይው፤ ለባለቤቱ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ልጆቹን አንድ በአንድ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ወርቂቱ ጉልበትሽን በቅባት እሺው ትላለች። ሶፍያ በአማርኛ ልጻፍላት ብላ ተነሥታ ነበር፤ ፊደሉን እያረምኩ ስላስቸገርኳት ትታው በስልክ ትደውልልሻለች። ቃለአብ ሰላም ብሎሻል አልልም፤ እሁድ ሲመጣ ራሱ ደውሎ ይነግርሻል።

ወንድምሽ መልአኩ
ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ
ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.