ለምርመራ ስለ ተወሰደው ግማሽ ድፎ ዳቦ

ለተከበሩ አቶ ኃይለ መስቀል
የ«ንጋት» ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ሴቶች እግር ኳስ ቡድን የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የመክሰስ ተራ አውጪ፣ የማልያ ጠባቂ፣ እንዲሁም በቅርቡ እንደ ተረዳሁት የቅቤ መርማሪ
ኮልፌ ቀራንዮ

ግልባጭ፦ ለቡድኑ ወላጆች በሙሉ፣ በቴሌግራም ግሩፓችን (እስካሁን ካላስወጣችሁኝ)

ነሐሴ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህ የነሐሴ ዝናብና ጭቃ ጉልበትዎን ሳይነካው፣ ጉንፋኑም አፍንጫዎን ሳይዘጋው እንደ ከረመ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በተለይ የአፍንጫዎን ጤንነት ከልቤ እመኛለሁ፣ የቡድናችን ፍትሕ ከእንግዲህ የሚቆመው በማሽተት ላይ ስለሆነ። እኔ ዋጋነሽ ነገሬ፣ አየር ጤና ከታክሲ ማዞሪያው ጀርባ ልብስ የምሰፋው፣ የግብ ጠባቂዋ የሀዊ እናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ልጄ ግን ደኅና አይደለችም፤ ይህን የምጽፈውም ስለ እሷ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ሰሞኑን ግሩፑ ውስጥ የገቡ ወላጆች ግራ እንዳይጋቡ ከመጀመሪያው ልነሣ። ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወታሉ፤ ከጨዋታ በኋላ የሚበሉትን መክሰስ ደግሞ እኛ ወላጆች በየተራ እናቀርባለን። አምና እርስዎ ባረቀቁት ደንብ መሠረት፣ መክሰስ ተራ ውስጥ የሌለ ወላጅ ልጅ አትሰለፍም። በወቅቱ እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌዋለሁ፤ ምክንያቱም አንዲት የተቀቀለች ድንች ሳያመጡ፣ ልጃችን ለምን አጥቂ አልሆነችም እያሉ አሠልጣኙን ጌታሁንን ቁም ስቅሉን የሚያሳዩ ወላጆች ነበሩን። ገመዱን ስንገምድ እኔም አብሬ ይዤ ነበር፤ በማን አንገት እንደሚገባ መጠየቅ ነበረብኝ።

ነሐሴ 3 ቀን ተራው የእኔ ነበር። ወቅቱ ፍልሰታ መሆኑን አልዘነጋሁም። ጴንጤ መሆኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ይሁን እንጂ ከጾመኛ ጎረቤት ጋር አንድ ግቢ አሥራ አራት ዓመት ኖሬያለሁና ጾም መቼ ገብቶ መቼ እንደሚፈታ ከማንም እኩል እቆጥራለሁ። ከአሥራ ስድስቱ ልጆቻችን አሥራ አንዱ ይጾማሉ። ስለዚህ በውሃና በዘይት አቡክቼ፣ ጥቁር አዝሙድ ጨምሬ፣ በኮባ ጠቅልዬ አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ ደፋሁ። ወተት አልነካውም፤ ቅቤም ውስጡ አልገባም። ሀዊ ከነትሪው አናቷ ላይ ተሸክማ ሜዳ አደረሰችው።

ልጆቹ ግማሹን እንደ በሉ ወ/ሮ ብርቅዬ «ቅቤ ቅቤ ሸተተኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎ ያውቃሉ። ቁራሹ ከልጆቹ እጅ ተለቀመ፤ አንዷ ጾሜን ገደፍኩ ብላ አለቀሰች፤ የቀረው ግማሽ ድፎ «ለምርመራ» ተብሎ ከነትሪዬ በእርስዎ መኪና ሄደ። ከሰዓት በኋላም ግሩፑ ላይ «ጉዳዩ እስኪጣራ ወ/ሮ ዋጋነሽ ከመክሰስ ተራ ታግደዋል» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። እናቷ ከተራ ከወጣች ልጅቷ ከሰልፍ ወጣች ማለት ነውና፣ ነሐሴ 10 በነበረው ጨዋታ ሀዊ ተቀያሪ ወንበር ላይ ዋለች። ወንበር የምለው ለአክብሮት ነው፤ ድንጋይ ነው።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ተጠራጣሪ ሴት አይደለሁም። ልብስ ሰፊ ግን ነኝ፤ ስፌቱ የተተረተረበትን ቦታ ዓይኔ ሳይፈልግ ያገኘዋል። ስለዚህ የሚከተሉትን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ስለ ወ/ሮ ብርቅዬ አፍንጫ። እንዲህ ያለ አፍንጫ የሰጣቸው አምላክ የተመሰገነ ይሁን። ዳቦው የተቆረሰው ከግቡ ጀርባ ሲሆን እሳቸው ጃንጥላቸውን ዘርግተው የተቀመጡት ከማዶ፣ ከበሩ አጠገብ ነበር። በማግሥቱ ሄጄ በእርምጃ ለካሁት፤ ሠላሳ ሁለት እርምጃ ነው። ያን ቀን ደግሞ ሲያካፋ ነበር። የወ/ሮ ብርቅዬ ልጅ ራኬብ ሁለተኛ ግብ ጠባቂያችን መሆኗን የምጠቅሰው እንዲያው ለመረጃ ያህል ነው፤ እኔ ምንም አላልኩም። ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትውል ሴት ርቀት መለካት ልማዷ ነው።

፪. ስለ ቅቤው። ቅቤ ነበረ፤ አልክድም። ዓርብ ዕለት አክስቷ ሌሊሴ ከሆለታ መጥታ፣ ልጅቷ በዝናብ ኳስ በቴስታ ስትመታ ከርማ ራሷን አሟታል ብላ፣ አናቷን በለጋ ቅቤ ለቅልቃት አድራለች። ቅዳሜ ጠዋት ያንን ትሪ የተሸከመችው በዚያው አናት ነው። ሸተተ የተባለው የልጄ ፀጉር ነበር ማለት ነው፤ በፍልሰታ ፀጉሯ ጾሟል ያለ ሰው ደግሞ የለም። ይህንኑ የዚያኑ ዕለት ቤትዎ ድረስ መጥቼ ሳስረዳ፣ ኮሚቴው ፀጉር የመመርመር ሥልጣን እንደሌለው በትዕግሥት አስረድተው ከበር መለሱኝ። ሥልጣንዎን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ አመሰግናለሁ። ዳቦን አሽትቶ የሚያስር ኮሚቴ አንዲት ልጅን ጠጋ ብሎ ለማሽተት ምን እንደ ከለከለው ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

፫. ስለ ቁጥር አንድ ማልያ። ነሐሴ 8 ቀን ሐሙስ የሀዊ ማልያ በፌስታል ሆኖ ሱቄ ድረስ መጣልኝ። አብራው የመጣችው ወረቀት «ለራኬብ ወገቡ ይጥበብ፣ እጅጌው ይጠር፣ ለቅዳሜ ይድረስ» ትላለች፤ ልኩም በሴንቲሜትር ተጽፏል። ከዳቦ ብታገድም ከሲንጀሬ እንዳልታገድኩ ስላሰቡልኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ልጅቷ ምንም አልበደለችኝምና ሥራውን ሠርቼ ሰጠሁ፤ ያውም በነፃ፣ እንደ ወትሮው። ለሀዊ ብዬ በእጄ የሰፋሁትን በእጄ ስተረትር፣ ክሩን ይዛ የምታቀብለኝ ራሷ ሀዊ ነበረች።

ታዲያ ስሠራ አንድ ነገር ከነከነኝ። ራኬብ ዳቦው ከተያዘበት ቅዳሜ ከሰዓት ጀምሮ እስከ ሐሙስ ማታ ወሊሶ አያቷ ዘንድ ነበረች፤ ይህን እናቷ ራሳቸው ፎቶ እየለጠፉ አሳይተውናል። ልኳ እንግዲህ መቼ ተወሰደ? ዳቦው ገና እየተመረመረ ሳለ ማልያው ለማን እንደሚጠብ በሴንቲሜትር የሚያውቅ ሰው ከነበረ፣ ምርመራው ለምን አስፈለገ? «አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ» ይላል ያገሬ ሰው።

፬. ስለ ምርመራው። እነሆ ዐሥር ቀን ሆነው። ስጠይቅ «በሂደት ላይ ነው» ይሉኛል። መርማሪው ማን ነው? ዳቦው የት ነው ያለው? ዶሴ ጠፋ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ ግማሽ ድፎ ዳቦ ከነትሪው ሲጠፋ ግን በዕድሜዬ ይህ የመጀመሪያው ነው። እንዳይሻግት ፍሪጅ ውስጥ እንዳስቀመጡት አምናለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዳይሆን እንጂ!

አምስተኛ ብዬ ቁጥር ልሰጠው የነበረውን ነገር ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። ሀዊ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ፀጉሯን በልብስ ሳሙና ሦስት ጊዜ አጥባለች። በዚህ ብርድ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ግቢው ቧንቧ ሥር አጎንብሳ። ታጥባ ስትጨርስ ሱቅ ድረስ ትመጣና አናቷን ወደ አፍንጫዬ ዘንበል አድርጋ አሁንም ይሸት እንደሆነ ትጠይቀኛለች። ትናንት ደግሞ የጓደኞቿን ጾም ያስገደፈችው እሷ እንደሆነች፣ ቅዳሜ ሜዳ ብትሄድ ይጣሏት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አቶ ኃይለ መስቀል፣ ይህን ስጽፍ ትሕትናዬ ትንሽ ጎደለብኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። እኔን ጠርጥሩኝ፣ ሃይማኖቴን ጠርጥሩት፣ ሊጤን ጠርጥሩት፤ ለአንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን በገዛ ፀጉሯ እንድትሸማቀቅ ማድረግ ነውር ነው። መስከረም ሲጠባ ዐሥራ ሦስት ይሞላታል፤ በዚህ ቡድን ደግማ አትጫወትም። የፊታችን ቅዳሜ የዋንጫው ጨዋታ የመጨረሻዋ ነው። ወይ በግቡ መካከል ትቆማለች፣ ወይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ልጅነቷን ታበቃለች።

ማመስገን የሚገባኝንም ላመስግን። ባለፈው ቅዳሜ አራት ለሦስት ስላሸነፍን እንኳን ደስ ያለን። ሦስቱ ጎሎች የገቡት ራኬብ ዓይኗን ስለ ጨፈነች ነው፤ ልጅቷ ኳስ እንደምትፈራ ለሀዊ በጆሮዋ ነግራታለች፤ እናቷ ጠይቀዋት እንደሆነ አላውቅም። ጌታሁን ከሜዳ ዳር ሆኖ ድንጋዩን፣ ማለቴ ወንበሩን፣ ዞሮ ዞሮ ሲያይ አየሁት። አፉን እንዲዘጋ ማን እንደ መከረው ባላውቅም ለመካሪውም ምስጋናዬ ይድረስልኝ። በዚያ ቀን ለቀረበው የፋብሪካ ብስኩትም እናመሰግናለን፤ ወተት እንዳለበት ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ነበር፣ ሽታ ስላልነበረው ግን ማንም አልተመረመረም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። እገዳዬ በግሩፑ ላይ እንደ ወጣ በዚያው ግሩፕ ላይ ይነሣልኝ፤ ለልጆቹም ዳቦው የጾም እንደነበር፣ ሀዊ የማንንም ጾም እንዳላስገደፈች ይነገራቸው፤ ነሐሴ 17 ቀን ማን ግብ ላይ እንደሚቆም ደግሞ ጌታሁን ይወስን። ነሐሴ 16 ዘንድሮ ዓርብ ስለዋለ ጾሙ የሚፈታው የዚያን ዕለት ነውና ማንም ምንም ማሽተት አይጠበቅበትም፤ አፍንጫዎችም ዕረፍት ያገኛሉ።

ጊዜዎን በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ስላጠፋሁብዎ እየተሳቀቅሁ፣ ጥበብዎ በመክሰስ ብቻ እንዳይወሰን እየተመኘሁ፣ ለጨዋታውም ለፍርዱም በሰላም ያድርሰን እያልኩ እሰናበታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የታገደችው ጋጋሪ፣ ያልታገደችው ሰፊ፣
ዋጋነሽ ነገሬ

ማሳሰቢያ፦ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም የሚሉት እውነት ነው። ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ቢያንስ ትሪዬን ልውሰድ ብዬ ዛሬ ረፋድ ቤትዎ ጎራ አልኩ። እርስዎ አልነበሩም። ባለቤትዎ ወ/ሮ ዘመነች በፈገግታ ተቀብለው፣ ታጥቦ የተወለወለ ትሪዬን ሰጡኝ። ስለ ክሱ ምንም የሰሙ አይመስሉም። በዚህ ፍልሰታ ሁሉ እንደዚያ ዳቦ አፍዎ ላይ የጣመ ነገር እንዳልነበረ፣ ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ በሻይ ሲበሉት ከርመው ለእሳቸው የደረሳቸው ጠርዙ ብቻ እንደሆነ እየሳቁ አጫወቱኝ፤ አሠራሩንም ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። እርስዎ በፍልሰታ ቅቤ አፍዎ እንደማያስገቡ እኔም ሰፈሩም ምስክር ነን። ስለዚህ ምርመራው ከተጠናቀቀ ሳምንት ሆኖታል፤ ፍርፋሪውን ሳይቀር አጣጥመው ንጹሕ ነሽ ብለው ፈርደውልኛል፣ ውሳኔዎንም በአክብሮት ተቀብያለሁ። የለም፣ ዳቦው ቅቤ ነበረበት ብለው በእገዳው ከጸኑ ግን ጉዳዩ ከኮሚቴው ወጥቶ የእርስዎና የንስሐ አባትዎ ይሆናል፤ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። ከሁለቱ የቱ እንደሆነ እስከ ዓርብ ያሳውቁኝ። የማልያውን ወገብ መልሼ ለማስፋት አንድ ሰዓት ይበቃኛል።