ያልተነሣሁበት ወንበር

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ያን ሁሉ መንገድ በጭነት መኪና ሲንገጫገጩ ውለው ወገብዎ እንዴት ሆነ? እናቴስ ጉልበቷ ተሻላት? ቤቱ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ አካሌ ደኅና ነው፣ ፈጣሪ ይመስገን። የቀረውንም ደኅና ነኝ ብዬ ብጽፍልዎ ግን ውሸት ይሆናል፤ ባለፈው ማክሰኞ ከሄዱ ወዲህ እህል አፌ ውስጥ አልጣፍጥ ብሎኛል።

በስልክ ልነግርዎ አስቤ ነበር። ግን አውቅዎታለሁ፤ ገና ስጀምር "ተይው ልጄ፣ ምን አለበት" ብለው ያቋርጡኛል። ደብዳቤን ማቋረጥ አይቻልም። አንቺም ይህን የምታነቢላቸው እህቴ፣ አንቺ ለፍላፊ፣ እንደ ልማድሽ ከመሀል እየዘለልሽ የጣፈጠሽን ብቻ እንዳትመርጪ። እናታችንን ከጓዳ ጥሪያት፤ ሳትስቂ፣ ጮክ ብለሽ፣ ከላይ እስከ ታች አንብቢው። የሚያሳፍረው ቦታ ላይ ስትደርሺም ለእኔ ብለሽ ድምፅሽን እንዳትቀንሺ።

አባባ፣ ኮሌጁ ከጫማ መደብር በላይ ያለ ፎቅ ነው። ክፍሎቹ የተለያዩት በስስ ጣውላ ስለሆነ እኛ የጽሕፈትና የቢሮ ሥራ ስንማር ከማዶ የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎች ሲማሩ ይሰማናል፤ አንዳንዴም የእነሱን ጥያቄ እኛ ቀድመን እንመልሳለን። አንዱ ክፍል የልምምድ ቢሮ ነው። ጠረጴዛ አለው፣ መስመር ያልገባለት ስልክ አለው፣ የጸሐፊ ወንበርና የእንግዳ ወንበር አለው። ባለጉዳይ ሆነው የሚገቡት የኮሌጁ ዘበኛ ናቸው። አንድ ቀን የተቆጣ ደንበኛ፣ አንድ ቀን ሚኒስትር ይሆናሉ። ሚኒስትር ሲሆኑ የሒሳብ መምህሩን ኮት ይዋሳሉ፤ እውነቱን ለመናገር ከመምህሩ ይልቅ ለእሳቸው ያምርባቸዋል።

እኔን የሚጥሉኝ እሳቸው ነበሩ። ሽማግሌ ናቸውና በሩን ከፍተው ሲገቡ ሳላስበው ብድግ ብዬ "ኖር!" እላለሁ። እሳቸውም ሚኒስትርነታቸውን ይረሱና "በእግዜር ልጄ፣ በእግዜር" ይላሉ። ከዚያ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። አንድ ቀንማ ወንበሬን ለቅቄላቸው እኔ የእንግዳው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ስሜ ጠፍቶ "ኖር" ተብዬ ቀረሁ። አሠልጣኛችን፣ በሌለችበት "ቀጥ በሉ" የምንላት፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ጸሐፊ ለገባ ለወጣው ከተነሣች ሥራው በማን ይሠራል አለችኝ። የጀመርሽውን መስመር ጨርሺ፣ ከዚያ ቀና በይ፣ ከዚያ ቀጠሮ አለዎት ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ከወንበርሽ ግን ንቅንቅ እንዳትዪ አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሥራ እንድናገኝላት ነው የምትለፋው።

በተግባር ፈተናው ቀን ዘበኛው ከዘራ ተደግፈው፣ እያሳሉ ገቡ። ሁለት እጄን ወደ ታች ሰድጄ ወንበሩን ግራና ቀኝ አንቄ ያዝኩት። ጉልበቴ ልነሣ ይላል፣ እኔ አትነሣም እላለሁ። አለፍኩ። ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ። ዘበኛው ብቻ ሲወጡ "እኔስ ስትነሺልኝ ነበር ደስ የሚለኝ" ብለው ሄዱ። ለእናቴ ደውዬ "ዛሬ ሰው ሆንኩልሽ" ያልኳት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ለሥራ ላይ ልምምድ ወደዚህ መሥሪያ ቤት ተላክሁ። ሥራ አስኪያጁ ጥሩ ከሠራሁ ስመረቅ እንደሚቀጥሩኝ ነግረውኝ ነበር። እናንተ ከራሳችሁ ቀንሳችሁ ያስተማራችሁኝ ለዚህች ወንበር ነው ብዬ እንደ እንቁላል ያዝኳት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ!

ማክሰኞ የሆነውን እርስዎ ያውቁታል፤ እናቴና እህቴ ግን አያውቁም። ደብዳቤ እየጻፍኩ ሳለ በሩ ተከፈተ። እንደተማርኩት መስመሬን ጨረስኩ፤ ቀና ሳልል "ቀጠሮ አለዎት?" አልኩ። "የለኝም" አሉ። በዚያች አንዲት ቃል ለየሁዎት። ቀና ስል በሩ ላይ ቆመዋል፤ ቅንድብዎ ላይ የመንገድ አቧራ አለ፣ በብብትዎ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል፣ ልጄን አስደነግጣታለሁ ብለው ሳቅ ሳቅ ይላሉ። በዚያው ቅጽበት ሥራ አስኪያጁ እንግዳቸውን ሸኝተው ሲመለሱ ከኋላዎ ደረሱ። ያዩኛል። አባባ፣ መነሣት ነበረብኝ። ሮጬ አንገትዎ ላይ መጠምጠም ነበረብኝ። እጄ ግን ልክ እንደ ፈተናው ቀን ወንበሩን አንቆ ያዘ። "ምን ልታዘዝ?" አልኩ፤ የወለዱኝን አባቴን።

እርስዎ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አዩ። ሳቅዎ ጠፋ። ቆብዎን አወለቁና "ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤት፣ ሥራ አስፈታሁዎት፤ ትንሽ ዐረፍ ብዬ እሄዳለሁ" አሉኝ። እናቴ፣ ሰማሽ? አባቴ እኔን አንቱ አለኝ። "አንቺ ቀበጥ" እያለ ያሳደገኝ አባቴ፣ ልጁ እንጀራዋን እንዳታጣ ብሎ፣ በሰው ፊት አንቱ አለኝና እንደ ባዕድ የእንግዳው ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ለእኔ ብሎ እንደሆነ ያኔውኑ ገባኝ። ገብቶኝም ከወንበሬ አልተነሣሁም።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ውስጥ እስኪገቡ ልታገሥ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን አጠገቤ ቆመው ደብዳቤ ያጽፉኝ ጀመር። እጽፋለሁ፤ የምጽፈው ግን አይታየኝም። ጨርሼ ቀና ስል እርስዎ የሉም፤ ወንበሩ ላይ ጥቅሉ ብቻ ቀርቷል። ሥራ አስኪያጁ "ጎበዝ፣ ባለጉዳይ እንዲህ ነው የሚያዘው" አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እየወደድኩ "አመሰግናለሁ" አልኩ። "ሰውዬው ዕቃውን ረሳ" ሲሉኝም አባቴ ነው አላልኩም። "ደርሼ ልስጠው" ብዬ ወጣሁ። የጭነት መኪኖች መቆሚያ ድረስ ሮጥኩ። የጎረቤታችን መኪና ተነሥታለች ተባልኩ።

ጥቅሉን ቤቴ ገብቼ ፈታሁት። እናቴ ከአሮጌ ቀሚሷ የሰፋችው የወንበር ትራስ ነው። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ነው ብያት ነበርና ወገቧን ያማታል ብላ ነው። ታቅፌው አለቀስኩ።

በማግሥቱ ለሥራ አስኪያጁ፣ ትናንት ባለጉዳይ ያሏቸው ሰው አባቴ እንደሆኑ ነገርኳቸው። "ለምን አልተናገርሽም?" አሉኝ። "እርስዎን ፈርቼ ነው" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ቢሯቸው ገቡ። ይቅጠሩኝ አይቅጠሩኝ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ሲገባ መስመሩን ከመሀል ትቼ እነሣለሁ፤ ሥራውም ለዚህ ብሎ አልቆመም። ግን የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ ለሌላው መነሣቴ ለእርስዎ ያልተነሣሁትን አይመልስልኝም።

ይህን ሁሉ እንኳ በሆዴ ይዤ ልቀር እችል ነበር። ዓርብ ማታ ግን እናቴ ደወለች። "አባትሽን እንዴት አድርገሽ ተቀበልሽው! ዘልለሽ ተነሥተሽ፣ የራስሽ ወንበር ላይ አስቀመጥሽው አሉ! ለሰው ሁሉ እያወራልሽ ነው" ብላ መረቀችኝ። አባባ፣ በውሸት ተመርቄ እንዴት ልደር? በዕድሜዬ ውሸት ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ እኔ አስዋሸሁዎት። ይህ ደብዳቤ ጮክ ተብሎ ይነበብ ያልኩት ለዚህ ነው። እናቴ፣ ምርቃትሽን መልሺው። አባባ፣ የእኔን ነውር እርስዎ አይሸፍኑልኝ፤ መቆጣት ካለብዎ ይቆጡኝ፣ ከቻሉ ደግሞ ይቅር ይበሉኝ።

አያቴን ጉልበታቸውን ስሙልኝ። ታላቅ ወንድሜን ከነሚስቱ፣ አዲሱን ሕፃን ጉንጩን ስሙልኝ። በመኪናቸው አሳፍረው ላመጡዎት ጎረቤታችን ምስጋናዬን ንገሩልኝ። አንቺ ለፍላፊ፣ እስከዚህ ካነበብሽ ጎበዝ ነሽ። አንቺም እዚህ ኮሌጅ ልማር ትያለሽ አሉ፤ ነይ፣ ግን ጉልበትሽን እቤት ትተሽ እንዳትመጪ።

እናቴ፣ አትቀየሚኝ፣ ትራሱ ላይ አልተቀመጥኩም። ወስጄ አባቴ የተቀመጠበት የእንግዳ ወንበር ላይ አደረግሁት። አባባ፣ ባለጉዳይ ሁሉ እየተቀመጠበት ነው፤ እኔ ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር እነሣለሁ።

ያፈረችው ልጅዎ

ከተከራየኋት ክፍል
እሑድ ከሰዓት በኋላ