ያላየሁት መጨረሻ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ገና ጎሕ ሳይቀድ ነቃሁ። ከልማድ ነው። የምሄድበት ግን የለም። የሩጫ ጫማዬን አጥቤ አጥሩ ላይ ካሰጣሁት ሰነበተ፤ ደርቆም እዚያው ነው። ለምን አላነሳሁትም?

አልጋ አነጠፍኩ። ግቢ ጠረግሁ። ሽንኩርት ልገዛ ወጣሁ። ሻጩ ተማሪዬ የነበረ ነው መሰለኝ።

«ቲቸር፣ እንኳን ደስ ያለዎት! በዚህ ዕድሜ ማራቶን! መጨረሻው እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነበር» አልኩት።

ጥሩ ነበር? በምን አውቄ?

እዚህ ላይ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። መጨረሻውን አላስታውሰውም። የአዳማን ሙቀት አስታውሳለሁ፤ ለአሰላ ሰው እሳት ነው። ቢጫ ጥላ የያዘች ሴት ውሃ ስታቀብለኝ አስታውሳለሁ። ከዚያ የሐኪሞቹ ድንኳን። ከላዬ የልጄ የሮሐ ፊት። በመካከሉ ምንም የለም... መስመሩን ማለፌን የነገሩኝ ሰዎች ናቸው።

ሽንኩርቱ ግማሹ የበሰበሰ ነበር። ሳላይ የገዛሁት በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 7

አቶ ይርሳው መጡ። ስፖርት ያስተምሩ የነበሩት፣ የልምምድ ፕሮግራሜን ያወጡልኝ። መስመሩን ሳልፍ የተነሣሁትን ፎቶ አሳትመው፣ መስታወት አስገብተው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው።

«ይኼ የዕድራችን አዳራሽ ውስጥ ይሰቀላል!»

«ሰው ሊያለቅስ በሚሰበሰብበት?»

«ይጽናናበት እንጂ! እስቲ ይንገሩኝ ወይዘሮ ወለላ፣ መስመሩን ሲያልፉ ምን ተሰማዎት?»

ሻይ ልጨምርልዎ ብዬ ተነሳሁ።

ከሄዱ በኋላ ፎቶውን መስኮት ዳር ይዤ ቆምኩ። ልብሱ የእኔ ነው፤ ደረቱ ላይ ያለው ቁጥርም። ሴትዮዋ አንድ እጇን አንስታ፣ ጥርሷን ገልጣ ትስቃለች። እኔ ፎቶ ስነሣ ጥርሴን ገልጬ አላውቅም። በሠርጌ ቀን እንኳ።

ይህች ሴት ማን ናት?

እሑድ፣ የካቲት 9

ሮሐ ደወለች። ከሰላምታው ቀጥሎ፦

«እማዬ፣ እየሮጥሽ አይደለም፣ አይደል?»

«አይደለም።»

«ቃልሽን እንዳትረሺ።»

«የምን ቃል?»

ድምፅዋ ከፍ አለ።

«ድንኳኑ ውስጥ። እጄን ይዘሽ። ዳግመኛ አልሮጥም ብለሽ፣ በአባዬ ነፍስ ምለሽ። አላስታውስም ልትዪኝ ነው?»

አላስታውስም። ግን አላልኳትም። «እሺ» ብዬ ዘጋሁ።

ቀኑን ሙሉ ሳሰላው ዋልኩ። ሦስት ጊዜ ተነሳሁ፣ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ። ማራቶኑን የጨረስኩትም ቃሉን የሰጠሁትም በዚያው በጠፋው ሰዓት ነው። አንዱን የእኔ ነው ብዬ ሌላውን አላውቀውም ማለት አልችልም። ሜዳሊያው የእኔ ከሆነ መሐላውም የእኔ ነው። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር፣ የሚመቸውን መርጦ የማይመቸውን የሚዘል ተማሪ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

በባሌ ነፍስ ደግሞ...

ስለዚህ አልሮጥም። አለቀ።

ዓርብ፣ የካቲት 14

አላለቀም። እግሬ ይቁነጠነጣል። ቁጭ ብዬ ምስር ስለቅም ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር ይዘላል።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ዐቢይ ጾም ገባ። ደህና፤ ሥርዓት አለው።

ግን ምኑ ነው የቀረብኝ? እውነት ሩጫው ነው? ያለፈውን ዓመት ሳስበው ደስታ አይታየኝም። ሰዓቴን አያለሁ፣ ትናንት ከሮጥኩት ጋር አስተያያለሁ፣ ራሴን እቆጣለሁ። ሁልጊዜ ብቻዬን። ለውድድር የሚለማመዱት ልጆች ጫካው ውስጥ ተከታትለው፣ አንዱ የሌላውን እግር እያየ ሲያልፉ «ኮቱ፣ ሃዾ!» ይሉኝ ነበር፤ እማማ፣ ይምጡ ማለታቸው ነው። የእነሱ ፍጥነት በፕሮግራሜ ላይ አልነበረም። በእጄ አባርሬያቸዋለሁ።

አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን ሴት ልጅ አትሮጥም ይሉን ነበር። ግቢ ውስጥ ስትሮጥ የተያዘች ተንበርክካ ትውላለች። እኔ ግን ልብስ በሚሰጣበት በኩል፣ አንሶላዎቹ በሚደብቁኝ ቦታ... እርጥቡ አንሶላ ፊቴን እየመታኝ። ማንም አልያዘኝም። ለማንም አልተናገርኩም። ያን ጊዜ ደስታ ነበር። የት ሄደ?

ሰኞ፣ የካቲት 24

ነቢላ መጣች። ከመንገዱ ማዶ የልብስና የጫማ ሱቅ ያላት። ወገቧን ይዛ፣ እያለከለከች፣ ደጃፌ ላይ።

«እትዬ ወለላ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ሐኪሙ በየቀኑ ካልተራመድሽ ስኳሩ ደጅሽ ቆሟል አለኝ።»

«ተራመጂያ።»

«ብቻዬን? በዚህ ሰውነቴ ስወዛወዝ? ሰው ከባሏ ተጣልታ ወጣች ይለኛል! ከእርስዎ ጋር ከሆነ ግን ቲቸር አስከትላኝ ነው እላለሁ። ማን ይናገረናል?»

«ረመዳን እየጾምሽ አይደለም እንዴ?»

«ማታ ማታ፣ ማፍጠሪያው ሲቃረብ። ቀስ ብለን። ሐኪሙም ፈቅዷል፣ ወላሂ።»

አሰብኩ። መራመድ በመሐላው ውስጥ የለም። እሺ አልኳት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ዛሬም ወጣን። ከከተማው በላይ እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ። ነቢላ አፏ አያርፍም። ስለ አማቷ፣ ስለ ባሏ ኩርፊያ፣ አምስት ጫማ ለክታ ምንም ሳትገዛ ስለሄደች ሙሽራ። ክንድሽን እንዲህ አታወዛውዢ፣ ትከሻሽን ልቀቂው አልኳት።

«ቲቸር፣ ፈተና ነው እንዴ? ልቀመጥና ያርሙኝ?»

ሰዓቴን ይዤ ወጥቼ ነበር። ስመለስ አንድም ጊዜ እንዳላየሁት አስተዋልኩ። ወሬዋ ነው ያዘናጋኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ዛሬ ከወትሮው ራቅ ብለን ወጣን፤ የጭላሎ ተራራ ጥርት ብሎ ይታይ ነበርና እሱን ስናይ። ድንገት ነቢላ ጮኸች። «ያ አላህ! ፀሐይዋ! ሳምቡሳው አልተጠበሰ፣ ልጆቹ ይጠብቁኛል!» ቀሚሷን ሰብስባ በጫካው ቁልቁል ተንደረደረች።

መንገዱ ቀጭን ነው፣ ሥር የበዛበት። ጎን ለጎን አያስኬድም። ከኋላዋ ሆንኩ። የማየው ተረከዟን ብቻ ነበር፤ እሷ የረገጠችበትን እረግጣለሁ፣ እሷ የዘለለችውን እዘላለሁ። ሻርፗ ከኋላዋ እየተወናጨፈ ፊቴን ይመታኛል። «ይከተሉኝ እትዬ! እንዳልወድቅ ይያዙኝ!» ትላለች፣ ትስቃለች፤ እየሳቀች መሮጥ አቅቷት ትወላገዳለች። እኔም ሳቄ መጣ። ድምፅ አውጥቼ። መቼ ነው እንዲህ የሳቅሁት?

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ነው የነቃሁት። ሮጥኩ። በባሌ ነፍስ ምዬ ሮጥኩ።

ነቢላ ወደ ቤቷ ገባች። እኔ አጥሬን ይዤ ቆምኩ። ማልቀስ ነበረብኝ። ልቤ ግን እንደዚያች የአንሶላዋ ልጅ...

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ለነቢላ ቃል እንዳለብኝ ነገርኳት። ከእንግዲህ አልወጣም፣ ሌላ ሰው ፈልጊ አልኳት።

እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ታዲያ ትናንት ከኋላዬ ሲሮጥ የነበረው ማነው? ጂን?»

«ትናንት ስሕተት ነው።»

«እኔ እርስዎን ሃያ ዓመት አውቃለሁ እትዬ። ሱቄ ሲመጡ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ለመግዛት ሰዓት ይፈጅብዎታል፤ ከትናንት በቀር አንድም ቀን ሲስቁ አላየሁም። ስሕተት ከሆነ፣ ደግሞ ይሳሳቱ!»

ሄደች። ደፋር ናት።

ቤት ውስጥ ስመላለስ ዋልኩ። መሐላ ነው። ግን የማን መሐላ? ሮሐን ባታልላትስ? አዳማ ሆና በምን ታውቃለች?... አይሆንም። ልጄን አልዋሽም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

አገኘሁት። ሜዳሊያውንና መሐላውን መነጠል አይቻልም ብዬ ነበር። ልክ ነው፣ አይቻልም። ሁለቱንም መተው ግን ይቻላል።

ነገ አዳማ።

እሑድ፣ መጋቢት 14 (ማታ፣ ሮሐ ቤት)

ከቅዳሴ በቀጥታ መናኸሪያ ሄድኩ። ሮሐ በሩን ስትከፍት ፊቷ ተለዋወጠ።

«ምን ሆነሽ ነው? አመመሽ?»

«ደህና ነኝ።» ሜዳሊያውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። «ያዢው። ማራቶኑን አልጨረስኩም።»

«እማዬ! ፎቶው አለ እኮ!»

«ፎቶው አለ። እኔ ግን አልነበርኩም። አላስታውሰውም ሮሐ፣ አንዲት እርምጃ አላስታውስም። ያላወቅሁትን ክብር አልወስድም። ያን ቃልም የሰጠችሽ የፎቶዋ ሴት ናት። እኔ አልሰጠሁሽም።»

አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ተቆጣች። እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም።

«ሒሳብ! አሁንም ሒሳብ! ያን ቀን ምን እንዳልሽኝ ታውቂያለሽ? አላወቅሽኝም! ‹ልጄን ጥሩልኝ› ትያለሽ። እጅሽን ይዤ ‹እማዬ፣ እኔ ነኝ› እልሻለሁ። ‹አንቺን አይደለም፣ ልጄን› ትዪኛለሽ። ከንፈርሽ ገርጥቶ! አባዬን የቀበርኩት በቅርቡ ነው። አንቺንም በሩጫ ልጣ?»

ይኼን አልነገረችኝም ነበር። ሁለት ወር ሊሞላው ይኼን ብቻዋን ይዛ...

ወንበሬን አስጠግቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች፤ ትልቅ ሴት፣ የባንክ ሠራተኛ። ስትረጋጋ የነቢላን ነገር ነገርኳት። ሳምቡሳውን፣ ቁልቁለቱን፣ መሳቄን።

«ሳቅሽ?»

«ጮክ ብዬ።»

ቀና ብላ «አሁን አእምሮሽ ልክ ነው?» አለች።

«ልክ ነው።»

«እንግዲያው አሁን ቃል ግቢልኝ። አውቀሽው።»

ተደራደርን። ውድድር አልገባም። ሙቀት ውስጥ አልሮጥም። ብቻዬን ከቶ አልሮጥም። «ቀስ ብለሽ ደግሞ» አለች። እሱን አልማልኩም፤ ቁልቁለት አለ።

ሜዳሊያውን ወደ እሷ ላስጠጋላት ስል ቀድማኝ አነሳችው።

«አንቺ አላየሽው እንደሆነ እኔ አይቼዋለሁ። ስትጨርሺ ቆሜ ሳጨበጭብ ነበር፣ ከመውደቅሽ በፊት። እጅሽን አንስተሽ ትስቂ ነበር። ይኼ የእኔ ነው።»

መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው።

እሷ ተኝታለች። እስትንፋሷ ይሰማኛል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 25

የነቢላ ጾም ተፈታ፤ አሁን ጠዋት ነው የምንወጣው። የእህቷ ልጅ አስያም ተጨምራለች። ሦስት ሆነን ተከታትለን። ዛሬ ሁለት ጊዜ ቆምን፣ አንዴ የነቢላ ጫማ ተፈቶ፣ አንዴ ለወሬ። ድሮ ቢሆን እቃጠል ነበር።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 13

ሮሐ ለፋሲካ መጥታለች። ዛሬ ማለዳ ከሴቶቹ ጋር ልወጣ ስል ተከተለችኝ። «ልይሽ» አለች። ልትቆጣጠረኝ ነው።

ዳገቱን ሳናጋምስ ከኋላ «እማዬ፣ ቆዪ! ቆዪ!» ስትል ሰማሁ። ነቢላና አስያ እየተሳሳቁ አለፉ። እኔ በሩጫ ላይ ሰው ጠብቄ አላውቅም ነበር። ቆምኩ። ደረሰችና ጉልበቷን ይዛ አጎነበሰች፣ ፊቷ ቀልቶ።

«ትሞቻለሽ ብዬ ስፈራ... እኔ ልሞትልሽ ነው።»

«የአዳማ ሰው ነሻ! ሱታ፣ ሱታ» አልኳት፤ ቀስ፣ ቀስ። ነቢላ ናት ያስለመደችኝ።

ትንፋሿ ሲመለስላት «እንመለስ?» አልኳት። ዳገቱን አየች፤ ሴቶቹ ጥግ ዞረው ሊጠፉ ነው። «አይ፣ እንደርስባቸዋለን» ብላ ተነሳች። እኔ ልምራ አልኳት። እምቢ አለች። ከፊት ሆነሽ እንዳትሮጪብኝ አለች።

ስለዚህ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ትናንት ማታ የዘነበው ዝናብ መንገዱን አለስልሶታል። ዓይኔን ተረከዟ ላይ አደረግሁ። ጫማዋ በውስጥ በኩል ነው የሚያልቀው። ሰባት ዓመቷ እያለም እንዲሁ ነበር፤ ጫማ በገዛን ቁጥር አባቷ እያገላበጠ ያየው ነበር... ረስቼው ነበር። እንዲህ ከኋላዋ ሆኜ አይቻት አላውቅማ።