ዳማ የሚያድርበት

ሰኞ፣ ግንቦት 10

ወንድሜ ደምሴ የጋጣዬን በር ነቅሎ ወሰደ፤ ጅብ ባዝራዬን በላት። ነገሩ ይኸው ነው። ሰው ግን «ግን እኮ» እያለ ይጨምርበታል። ግን እኮ የደምሴ ልጅ ምጥ ላይ ነበረች። ግን እኮ የመንደሩ ቅሬ ቃሬዛ ሌላ መንደር ሄዶ ነበር። ግን እኮ በሩ ላይ አስተኝተው መኪና መንገድ ባያደርሷት ትሞት ነበር። ሁሉም እውነት ነው። በሩን ስለወሰደ አልወቅሰውም። እኔም ብኖር ነቅዬ እሰጠው ነበር። የምወቅሰው ጋጣውን ክፍት ትቶ ስለሄደ ነው።

ያን ማታ እኔ በፈረሴ በዳማ ተቀምጬ ገነተ ማርያም ወርጄ ነበር፣ የልደታን ዋዜማ ላድር። ቡሌ ብቻዋን ቀረች። የዳማ እናት ናት። ከኮን ገበያ ገዝቼ፣ እንዳትደክም ብዬ ሳልቀመጥባት፣ በእግሬ እየሳብኩ ያመጣኋት ባዝራ ናት። በማግስቱ ስመለስ ጭራዋንና ሰኮናዋን አገኘሁ። ደምሴ ሊያናግረኝ መጣ። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ፊት አፍህን እንዳትከፍት» አልኩት። ዘጋው። እስካሁን አልከፈተውም።

ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ግን ለጋጣ ነው። ክረምቱ እየደረሰ ነው፤ ዳማ ማደሪያ የለውም። ከዚያ ወዲህ የሚያድረው እኛው ቤት፣ ከመደቡ ፊት ለፊት ነው። ባለቤቴ ይመኙሻል ዛሬ፣ «ከፈረስ ጋር እንደማድር አማላጆቹ ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ አስቤበት ነበር» አለች። ቡሌ ወደነበረችበት ወደ ታችኛው ጋጣ ልመልሰው ሞክሬ ነበር። እርከኑ ጫፍ ላይ አራት እግሩን ተክሎ አልወርድም አለ። እኔም አላስገደድኩትም። መውረዱን እኔም አልወደድኩትም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ወደዚያ ጆሮውን ያቆምና ያሽካካል። ከዚያ መልስ ይጠብቃል። ቡሌ ገብስ ሲያምራት በፊት እግሯ ግድግዳውን ትመታ ነበር። ሁለቴ፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ አንዴ። ትናንት ያን ድምፅ ከታች ሰማሁት። ለማንም አልተናገርኩም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

ላሊበላ ወጣሁ። ጋጣ ምን ምን እንደሚያስፈልገው መንገድ ላይ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ማንም አላስተማረኝም። ፊደሉንም ራሴ ነኝ የለየሁት፣ ፈረሱንም ራሴ ነኝ ያወቅሁት።

ጅብ የማይፈነቅለው ግድግዳ። ወደ ውጭ የሚከፈት በር፤ ጅብ በገፋው ቁጥር ከመቃኑ ጋር ይጣበቃል። ሽንት የሚወርድበት ዘቅዘቅ ያለ የድንጋይ ወለል፤ አለዚያ ሰኮና ይበሰብሳል። ከፍ ብሎ የተከፈተ የነፋስ መውጫ። ፈረስ በኋላ እግሩ ቢቆም ራሱን የማይመታበት ጣሪያ።

ቆርቆሮ የሚሸጠው ጎልማሳ አራት ቋሚ አቁመው በላዩና በዙሪያው ቆርቆሮ ይምቱበት አለኝ። «አባቴ፣ የዘመኑ ጋጣ ይኸ ነው። ዝናብ የለ፣ ምስጥ የለ።»

«በረዶ ሲወርድስ?» አልኩት። «ውስጡ ያለው ፈረስ ምን ይሆናል?»

«ጆሮውን በጥጥ ይድፈኑለታ!»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የእኛን አገር በረዶ ያውቀዋል፤ ፈረስ ግን አያውቅም። በዚያ ጩኸት ውስጥ የተዘጋበት ፈረስ ወይ ራሱን ይሰብራል ወይ ግድግዳውን። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 12

ሚካኤል ነው፣ ሥራ የለም። ማየት ግን ሥራ አይደለም ብዬ ዳማን ይዤ ከኮረብታው ጀርባ ወዳለው ዋሻ ሄድኩ። አባቴ በክረምት ከብት ያስገባበት ነበር። አለቱ ለስላሳ ስለሆነ በመጥረቢያ እየፈለፈለ ያሰፋው እሱ ነው። ከዚህ የጠነከረ ግድግዳ የለም። ጅብ የሚገባበት አንድ አፍ ብቻ ነው፣ እሱም ጠባብ።

ዳማ አፉ ላይ ደርሶ ቆመ። አንገቱን ላብ አጠመቀው። ገብስ አሳየሁት፣ ተቆጣሁት፣ ቀድሜ ገባሁለት። እኔ ውስጥ እሱ ውጭ ሆነን ተፋጠጥን። ውስጡ ጭር ያለ ነው። ትንፋሼ ከኋላዬ ተመልሶ ሲመጣ ሌላ የሚተነፍስ ያለ መሰለኝ። ዞሬ አየሁ። በዚህ ዕድሜዬ ዞሬ አየሁ።

ይመኙሻል ስንመለስ አይታ፣ «ሁለታችሁም ምን አሯሯጣችሁ?» አለች። አልሮጥንም። ፈጠን ብለን ነው የመጣነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 13

አዲስ ድንጋይ ከማስፈለጥ የታችኛውን ጋጣ አፍርሼ ድንጋዩን ልጠቀም ብዬ ብቻዬን ወረድኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ስወርድ የመጀመሪያዬ ነው። ያን ቀን ያየሁት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ በር የሌለው ጋጣና ከማሳው መሐል የቀረው የቡሌ ጭራና ሰኮና። ሌላ አላየሁም። ማየትም አልፈለግሁም ነበር።

ዛሬ ከበሩ ደፍ ውጭ፣ ከእርከኑ በታች፣ የቀጋ እሾህ ክምር አገኘሁ። በቅርብ የተቆረጠ ነው፣ ቅጠሉ ደርቆ ገና አልረገፈም። ወፍራም ወፍራም ግንድ ያለው ነው። ከበሩ ቦታ ግራና ቀኝ ደግሞ ግንዱን ረግጠው እንዲይዙ የተጫኑ ትልልቅ ድንጋዮች አሉ። አንዱ ተንከባሏል። እንዲህ አድርጎ ድንጋይ የሚጭን ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ነው የማውቀው። አባታችን ያስተማረው ለሁለታችን ነው።

ደምሴ ጋጣውን ክፍት ትቶ አልሄደም።

ቁጭ ብዬ አየሁት። እሾኹ ላይ የቡሌ የጋማ ፀጉርና የደረቀ ደም አለ። የወደቀው ወደ ውጭ ነው። ጅብ ከውጭ ቢገባ ወደ ውስጥ ነበር የሚደፋው። ጅብ ቀጋ አይደፍርም፤ የበግ በረት ሁላችንም የምንዘጋው በዚሁ ነው። በግ በእሾኹ አጥር ውስጥ ሆና ጅብ ቢሸታት ትጠጋጋለች እንጂ አትወጣም። ፈረስ በግ አይደለም። ቡሌ ጅቡ ሲሸታት እሾኹን በደረቷ ሰብራ ወጣች። ባትወጣ ኖሮ ትተርፍ ነበር።

ወደማን ነበር የምትሮጠው? አሽካክታ ይሆናል። የሚመልስላት አልነበረም። ዳማ ከእኔ ጋር ነበር።

ድንጋዩን ሳላነሳ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 14

ጠዋት ይመኙሻልን «ደምሴ ያን ማታ ከሰዎቹ ጋር ነበር የወጣው?» አልኳት። እሷ ምጥ የያዛትን የደምሴን ልጅ ደግፋ አብራ የሄደች ናት።

«የለም፣ ኋላ ነው ሮጦ የደረሰብን። እጁ በሙሉ ተቧጭሮ ነበር። ምነው?»

«ምንም።»

«አሥር ጊዜ ምንም ትላለህ፤ ምንም ሆኖ የሚያውቅ ነገር ግን የለህም።»

ቀኑን ሙሉ አሰብኩ። ስለ ግድግዳ፣ ስለ ጣሪያ፣ ስለ በር ብዙ አወጣሁ አወረድኩ። አንዱን ግን ዘልዬዋለሁ። ፈረስ ብቻውን የሚያድርበት ቤት ምንም ቢጠነክር ጋጣ አይሆንም። ይመኙሻልም በጨዋታ፣ «ዳማ እዚህ ቤት ዝም ብሎ የሚያድረው እኔ ሳንኮራፋ ስለሚሰማ ነው» ብላለች። ቧልት አይደለም፣ እውነት ነው።

እኔ ሌላ ፈረስ የለኝም። የሚተነፍስ እንስሳ በቅርብ ያለው አንድ ቦታ ነው፣ የደምሴ የበቅሎ ቤት። የጀርባ ግድግዳው ወሰናችን ላይ ነው የቆመው። በእሱ ግድግዳ ላይ የእኔ ቤት የጓሮ ግድግዳ ተጨምሮ ሁለት ጎን አለ ማለት ነው። የሚቀረው ሁለት ነው።

ከሱ ፈቃድ አልጠይቅም። ድንጋዩን ከታች አስመጥቼ ወሰኑ ላይ ማከማቸት ጀመርኩ። ደምሴ ብቅ አለ፣ ክምሩን አየ፣ ተመልሶ ገባ።

ማታ ዳማ ጆሮውን አቆመ። የሚመታ ድምፅ አልሰማሁም። አለመስማቱ ከመስማቱ ባሰብኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15

የመንደሩ ሰው በደቦ መጣ። አንዱ ጭቃ ይረግጣል፣ አንዱ ወለል ያነጥፋል፣ የአሮጌውን ጋጣ ወራጅና ክዳን የሚያመጡ አሉ። እኔ ድንጋይ እካባለሁ። ሌላ ሰው የካበውን አፈርሳለሁ። «አያ፣ እኛን ምን ጠራኸን ታዲያ?» አሉኝ። «ለማቀበል» አልኳቸው።

ከግድግዳው ማዶ የብረት ድምፅ መጣ። ደምሴ ነው። በእሱ በኩል፣ ከበቅሎዋ ግርግም በላይ፣ የገዛ ግድግዳውን ይነቅላል። ማንም አላለውም። አንድ ድንጋይ ወደ እኔ በኩል ወደቀ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ የደምሴ ፊት በቀዳዳው ታየ። አቧራ ለብሷል። እንስሶቹ እንዲተያዩ ነው። ነገሩ ለእሱ የገባው ከእኔ በፊት ነው እንግዲህ። ቀዳዳው ግን ዝቅ ያለ ነበር። ፈረስ እግሩን ይከትበታል። ታገስኩ። አልቻልኩም።

«ከፍ አድርገው» አልኩ።

«እሺ፣ አያ።»

ሥራው ሁሉ ቆመ። ይመኙሻል እንስራውን እንዳዘለች፣ «እልል በሉ፣ ድዳው ተፈታ!» አለች። ሰው ሳቀ። ደምሴም ሳቀ መሰለኝ፤ እኔ ወደ ድንጋዬ ዞሬ ነበር።

የወሰደውን በር እሱ ይዞ መጥቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ታጥቧል። ወደ ውጭ እንዲከፈት አድርጌ ራሴ ገጠምኩት።

እሑድ፣ ግንቦት 16

ትናንት አመሻሽ ዳማ በሩ ላይ ቆሞ ውስጡን ብዙ አሸተተ። በቅሎዋ በቀዳዳው አንገቷን አውጥታ ተነፈሰችበት። ገባ። አልገፋሁትም። ማሽካካቱን እስካሁን አልተወም፤ ወደ ታች ያሽካካል፣ የምትመልስለት በቅሎዋ ናት። ይበቃው እንደሆነ አላውቅም። ጭቃው አልደረቀም፣ ክዳኑም ሳር ይጨመርበታል።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቴ ያዙኝ። «ልጄ፣ ሽማግሌ ልሰብስብና ከወንድምህ ጋር ተቀመጡ። ሁሉም የልቡን ይናገር።»

«የሚሰበሰብ የለም፣ አባ።»

«ቂም ይዘህ ልትቆርብ ነው?»

«ቂም የለኝም። ወሬም የለኝም።»

እቤት ስደርስ ደምሴ ደጃፌ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። የልጁን አራስ ልጅ ታቅፏል። እጁ ላይ ያሉት ጭረቶች ጠቁረዋል። «አያ» አለ፣ «ያን ማታ እኮ እኔ...»

«ተው» አልኩት።

«አንዴ ስማኝ እንጂ...»

«ሰምቻለሁ። ወርጄ አይቻለሁ።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። የእኔን አላውቅም። ሕፃኗን ወደ እኔ ዘረጋት፣ ተቀበልኳት፣ እየከበደችኝ ያዝኳት። በቅሎዋ ገብስ በልታ እንደሆነ ጠየቅሁት። በልታለች አለ።

ስለዚያ ማታ ያልኩትን ብያለሁ። ከእንግዲህ ለነፍስ አባቴም፣ ለይመኙሻልም፣ ለደምሴም አላነሳውም። ሲያነሱም አልሰማም። እዚህም አልጽፈውም።