ካምቢዮው የማን ነው?

ኤፕሪል 12፣ ቅዳሜ
ዝናብ። ከአያቴ ከአባባ ሄልመር ጋር ኖርዌይ ደርሰን መጣን። ኖርዌይ ስል… ጫካውን ማቋረጥ ነው። እዚህ ሰፈር ድንበር ማለት የጓሮ አጥር ነው። እነሱ ርካሽ የአሳማ ቤከንና ከረሜላ ፍለጋ ወደኛ፣ ወደ ስዊድን፣ ይመጣሉ፤ እኛ ኦድቫር ጋ እንሄዳለን። ኦድቫር የድሮ ካምቢዮ የሚያውቅ የመጨረሻው ሰው ነው። ይህን ያለው ራሱ ኦድቫር ነው።

ካምቢዮው የኤፓዬ ነው። አባባ በጎረምሳነታቸው አንድ ቮልቮ ከወገቡ ቆርጠው የሠሯት ኤፓ፣ አሁን የኔ። በሕግ ትራክተር ናት፣ በዓይን መኪና። በሰዓት ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በላይ ስለማትሮጥ በአሥራ አምስት ዓመቴ እነዳታለሁ። እንዳትሮጥ ደግሞ ሁለት ካምቢዮ ተቀጣጥሎላታል። የተበላሸው ሁለተኛው ነው። ማለትም፣ መኪናዬ ቀርፋፋ መሆን አቅቷት ነው የቆመችው።

ጁን ላይ ዘጠነኛን እንጨርሳለን። ሁሉም በኤፓው ተሰልፎ ትምህርት ቤት ይገባል። እኔስ? በአውቶቡስ?

ስንመለስ ጉምሩክ አስቆመን።
"የሚያሳውቁት ነገር አለ?" አለች ፈታሿ። ወጣት ናት፣ ደረቷ ላይ ማልቪና ይላል።
"ደህና መሆኔን" አሉ አባባ።
ካምቢዮው የኋላ ወንበር ላይ፣ በሕፃን ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ቀበቶ ታስሮ ተቀምጧል።
"ይሄስ?"
"የራሴ ካምቢዮ ነው። ታሞ ነበር፣ ድኗል።"
"ይዘውት ሲወጡ አሳውቀዋል?"
"ለማን?"
"ለእኛ።"
"ልጄ፣ ኖርዌይ መሄዴን ለሚስቴም አልነገርኳት።"

ተወረሰ… አይ፣ "ተቀመጠ" ነው ያለችው። ከዚህ የወጣ የራሳችን ዕቃ መሆኑን ካስረዳን የሚታሰበው የጥገናው ዋጋ ብቻ ነው። ካላስረዳን ዛሬ ከኖርዌይ እንደገባ ዕቃ ተቆጥሮ በሙሉ ዋጋው ቀረጥና ታክስ።
"ለጥገናው ስንት ከፈሉ?"
"አሥራ ሁለት እሽግ ቤከን።"
ማልቪና ስክሪብቶዋን አነሳች። ትንሽ አሰበች። አስቀመጠችው።

ኤፕሪል 13
አባባ ጦርነት አውጀዋል። እኚህ ሰው ከማዘጋጃ ቤት ጋር አንድ ክረምት ሙሉ የተሟገቱት በረዶ ጠራጊው የፖስታ ሳጥናቸውን አጎንብሷል ብለው ነው። ሳጥኑ ከዚያ በፊትም ጎንበስ ያለ ነበር።
እማማ ጉልቪ ግን ደስ ብሏቸዋል። "ጠላት አገኘ። አሁን ምግቡን ይበላል።"

ኤፕሪል 24፣ ሐሙስ
የአተር ሾርባ። እንደ ማንኛውም ሐሙስ። አባባ ቅሬታቸውን አነበቡልን። የሚጀምረው ኖርዌይ ከስዊድን ከተለየችበት ጊዜ ነው። ካምቢዮው ብቅ የሚለው ሦስተኛው ገጽ ላይ። ሾርባው ቀዘቀዘ።
"እንዴት ነው?" አሉ።
"ጉምሩኮቹ ምን አደረጉህ?" አሉ እማማ።

ሜይ 2
ማልቪና ደወለች። አባባ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው አስቀመጡት፣ ሁላችንም እንድንሰማ። ሦስቱንም ገጽ አንብባለች። (ምስኪን።)
"ካምቢዮው ላይ ቁጥር አለ?"
"ሞርጄ አጥፍቼዋለሁ።"
"ለምን?"
"ዘመኑ ስልሳ ስምንት ነበር" አሉ አባባ፣ ሁሉን የሚያስረዳ ይመስል።
"ፎቶግራፍ?"
"ካምቢዮ ማን ፎቶ ያነሳል?"
"ሌላ ምልክትስ? ጭረት፣ ጽሑፍ፣ የእርስዎ መሆኑን የሚያሳይ ማንኛውም ነገር…"
አባባ ማላመጥ አቆሙ። "የለውም" አሉ። ፈጠን ብለው።
ጆሮዬ ቆመ። አባባ ሳይከራከሩ መልሰው አያውቁም።

ሜይ 3
ቁርስ ላይ። "እከፍላለሁ" አሉ አባባ።
እማማ ተነስተው ግንባራቸውን ዳሰሱ። ትኩሳት የለም።
"በምንድን ነው የምትከፍለው?"
"ለጎማ ባስቀመጥኩት።"
የኔ ጎማ! ኤፓዋ ላይ ያሉት እንደ አባባ ራስ መላጣ ናቸው፤ በነሱ መንገድ ላይ መውጣት አይፈቀድም። "ጎማውስ?" አልኩ።
"በሚቀጥለው ዓመት።"
በሚቀጥለው ዓመት ዘጠነኛን የሚጨርሱት ሌሎች ናቸው።
ምንድን ነው የሚደብቁት?

ሜይ 6
ኦድቫርን ደወልኩለት።
"ታዲያ ክዳኑን አያወልቁትም?" አለ። "ውስጡ አለ እኮ!"
"ምኑ?"
መሳቅ ጀመረ፣ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ተመልሶ ሳቅ ሆነ። "ጽሑፍ ነዋ። በቀይ ቀለም። 'ማይከን' ይላል። ልብም አለው።"
"አያቴ እኮ ጉልቪ ነው የሚባሉት።"
"እሱን አስታውሼ ነው ክዳኑን ቶሎ የገጠምኩት።"

ማይከን! የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ ከእማማ ጎን የሚቆሙት ማይከን። የእማማን የኬክ ቆርቆሮ ተውሰው ያልመለሱት ማይከን። በቆርቆሮው ብቻ እማማ ስንት ዓመት አዚመዋል… እና ይሄ ሲሰማ?

ሜይ 7
ጋራዡ ገባሁ። "ማይከን" አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።
የአባባ መፍቻ ወደቀ። "ማን ነገረሽ?"
"ኖርዌይ።"
"ከነሱ ደግ ነገር መጥቶ አያውቅም።"
"አባባ፣ እርስዎና እማማ ከመጋባታችሁ በፊት ነው። ዘመኑ አልፏል እኮ።"
"ለኔ አልፏል። ጉልቪ ጋ የሚያልፍ ነገር የለም። ጫጉላችን ላይ ያሳረርኩትን ድንች ባለፈው እሑድ አንስታለች።"
"ስለዚህ በሙሉ ዋጋው ሊከፍሉ?"
"የሰላም ዋጋ ነው።"
"በኔ ጎማ?"
መፍቻውን ከመሬት አነሱ። "ከረሜላ እገዛልሻለሁ" አሉ። ሰባት ዓመቴ ነው መሰለኝ።
ለእማማ ላልናገር አስማሉኝ። ማልኩ። አልናገርም።

ሜይ 18
መሐላዬን ደግሜ አሰብኩበት። "አልናገርም" ነው ያልኩት። "አልጋብዝም" አላልኩም።
ለእማማ፦ "አባባ ነገ ድንበር ሊሄዱ ነው። ጉምሩኩ አጠገብ ያለው ሱቅ የኬክ ቆርቆሮ አርክሷል።"
ኮታቸውን ከወዲሁ በር ላይ ሰቀሉ።

ሜይ 19
በደንብ ልጻፈው።

ማልቪና ካምቢዮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣዋለች፣ ከነብርድ ልብሱ። አባባ ቦርሳቸውን አወጡ።
"ቅሬታዬን አንስቻለሁ።"
"እርግጠኛ ነዎት?" ቅር ያላት ትመስላለች። "ሦስተኛውን ገጽ ወድጄው ነበር።"
"ለምንድን ነው የሚከፍለው?" አሉ እማማ። ከኋላችን ነበሩ።
"የእናንተ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ስላልተገኘ" አለች ማልቪና።
እማማ የእጅ ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። "ክዳኑ ውስጥ ማይከን የሚል አለ። በቀይ ቀለም። ከሥሩ ልብ። ልቡ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው።"

አባባ ውሻ ይዞ ድንበር ስለማቋረጥ የሚያስረዳ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አጥብቀው ማንበብ ጀመሩ። ውሻ የለንም።

ማልቪና መፍቻ አመጣች። አባባ ብሎኖቹን ፈቱ። እንዲህ ቀስ ብሎ የተፈታ ብሎን አይቼ አላውቅም፤ ኤፓዋ ራሷ ከሳቸው ትፈጥናለች። ክዳኑ ተነሳ። ማይከን። ልብ። ወደ ግራ።

"እንዴት… እንዴት አወቅሽ?" አሉ አባባ።
"ቀለሙን ማን ሸጠልህ?"
"እ?"
"የአባቴ ሱቅ። እኔ ባንኮኒው ጋ ቆሜ። 'ዘይት የማያጠፋው ቀይ አለ?' አልከኝ። ለምን ብልህ ሁሉን ዘረገፍክ፤ ያኔ አፍህ ክዳን አልነበረውም። ትንሹን ቆርቆሮ ሸጥኩልህ። ለማይከን ትልቁ አያስፈልግም ብዬ።"
"ልቡንስ? መቼ አየሽው?"
"ወገብህ ተይዞ በተኛህበት ክረምት፣ የተነከሰውን ማርሽ ማን አላቀቀው? አጋዘን?"
"ይሄን ሁሉ ዘመን ዝም አልሽ!"
"ምን ልበል? ቀለሙ አልለቀቀም። የአባቴ ሱቅ ዕቃ ነው።"

ማልቪና ጎንበስ ብላ ትጽፋለች። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። ውስጡ ያለውን ክዳኑ ሳይነሳ ተናግረዋል፣ ይበቃል፣ ካምቢዮው የእናንተ ነው አለች። የቀረው የጥገናው ዋጋ ነው። ማለትም ቤከኑ።
አባባ ነፍስ ዘሩ። "በማን ዋጋ ነው የሚታሰበው? በኛ ወይስ በኖርዌይ? በኖርዌይ ከሆነ እቃወማለሁ!"
"በሁለቱም ቀረጥ የሚያስከፍል አይደለም። ይሂዱ።"
አባባ ቅር አላቸው። ለክርክሩ ተዘጋጅተው ነበር።

መኪና ውስጥ ገባን። እማማ፦ "ይልቫ፣ የቆርቆሮው ሱቅ የታለ?"
"ዘግቷል" አልኩ።
"ዘግቷል" አሉ። በመስታወት እያዩኝ። ወይ ጉዴ… እኚህ ሴት ሌላ ምን ያውቃሉ?

ሜይ 21
እማማ ከመዘምራን የኬክ ቆርቆሯቸውን ይዘው ተመለሱ። ማይከን ምን እንዳሉ ጠየቅኩ።
"ምንም። 'አንቺ ባለ ካምቢዮ' አልኳት፣ አመጣችው።"

ጁን 7
አዲስ ጎማ! ካምቢዮው ሊገጠም ነው። ከመገጠሙ በፊት አባባ ከተማ ደርሰው መጡ። ቀይ ቀለም። ትልቁን ቆርቆሮ።
ክዳኑ ውስጥ፣ ከማይከን በታች፣ "ጉልቪ" ብለው ጻፉ። ልብም ሣሉ፣ ምላሳቸውን አውጥተው፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ። እማማ መነጽራቸውን አድርገው መረመሩ።
"ይሄኛው ወደ ቀኝ አዘንብሏል" አሉ።
"ማይከንን ላጥፋት?"
"ተዋት። ማስረጃ ናት።"

ጁን 12
ጨረስን! በሠላሳ ገባሁ፣ ሙዚቃው እስከ ጥግ፣ ኤፓዋ እንደ ወጉ በበርች ዛፍ ቅጠል ተሸፍና። ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ። ግማሹ ሰልፈኛ አልነበረም፣ ሥራ የረፈደበት ሰው ነው።
ስመለስ ሁለተኛው ካምቢዮ አጉረመረመ። ከዚያ ተነከሰ። አባባ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። "ኦድቫር" አሉ። እንደ እርግማን።

ጁን 23
እንደገና ወደ ኖርዌይ። ካምቢዮው የኋላ ወንበር ላይ፣ ብርድ ልብስ፣ ቀበቶ። እኔ ከጎኑ። እማማ ከፊት፣ ጭናቸው ላይ ቤከን የሞላ የኬክ ቆርቆሮ።

ድንበሩ ጋ ስንደርስ ማንም አላስቆመንም። አባባ ራሳቸው ቆሙ። ወርደው የጉምሩኩን መስኮት አንኳኩ። ድንበር ሲያቋርጡ ዕድሜ ልካቸው አንገታቸውን አዙረው የማያውቁ ሰውዬ!
ማልቪና ወጣች። "የሚያሳውቁት አለ?"
"አንድ ካምቢዮ። የራሴ። እየወጣ ነው፣ ይመለሳል።"
"ምልክት?"
"ክዳኑ ውስጥ ሁለት ስም አለ።"
ጻፈች። አንገቴን ሰግጌ አነበብኩት፦ "ምልክት፦ ሁለት ሴቶች።"
"ግምቱስ? ስንት ያወጣል?"
አባባ አፋቸውን ከፈቱ። ገጽ አንድ፣ ገጽ ሁለት፣ ገጽ ሦስት ሲመጣ ታየኝ… ዞር ብለው እማማን አዩ። እማማም አዩአቸው፣ ቆርቆሮውን እንዳቀፉ።
"ዋጋ አይወጣለትም" አሉ አባባ።
ማልቪና ፍቅር ነው ብላ ፈገግ አለች። እኔ ፍርሃት ነው እላለሁ።