ሳይበለቱ የተነከሩ ዶሮዎች

ዓርብ፣ ጥር ፲፭፣ ረፋድ

በርሜሉ ዛሬም ግቢው መካከል ቆሟል። ልጄ የሻረግ ሆዱን በብረት ሠሪ አስከፍታ መዝጊያ አበጀችለት። ከላይ ሽቦ ዘረጋች፤ ከታች የወይራ ፍልጥ ደረደረች። ወይራ ለጋን ነው። ለወተት ቅል ነው። ዶሮ በወይራ ሲታጠን በዕድሜዬ አላየሁም።

ሆኖም አልተቃወምኩም። ይህን ጽፈህ ያዝልኝ፣ ማስታወሻዬ ሆይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማችን አራዳ ያለ አንድ ሆቴል ለሠርግ ማዕድ በጢስ የበሰለ ሙሉ ዶሮ ይፈልጋል። የሻ. ለሰኞ ልታስቀምሳቸው ቃል ሰጥታለች። ከወደዱላት ሥራው የእርሷ ይሆናል፤ እዚሁ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ካልወደዱላት አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዋ ትልቅ ወጥ ቤት ላስቀጥርሽ ብላታለች፤ ትሄዳለች። ሁለቱንም ፊት ለፊት ነገረችኝ። በዚህ ወደ እኔ ወጥታለች፤ ነገር አትሸፋፍንም።

እናቷ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት የሚሰማው የሁለት ሰው ድምፅ ነው። አንዱ ቢጎድል... ይቅር። ወደ ጸሎቴ።

ቅዳሜ፣ ጥር ፲፮፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ከሰዓት

ከቅዳሴ መልስ አረድኩ። ስመ ሥላሴን ጠርቼ፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙሬ። አራት ያማሩ አውራ ዶሮዎች።

የሻ. ነጨች፤ ለበለበች፤ ሆድ ዕቃውን አወጣች። እኔም ቢላዋ ታነሣለች ብዬ ጠበቅሁ። አላነሣችም። ዶሮ ዐሥራ ሁለት ብልት ነው። በዚህ አገር ሴት ልጅ የምትመዘነው በዚያ ነው፤ እናቷ ከሰው ጋር እያወጋች፣ ቢላዋውን ሳታይ ትበልት ነበር። ልጄ ግን እግራቸውን አጣምራ በሲባጎ አሰረችና እንዳሉ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ከተተቻቸው። ውኃ፣ ጨው በጭልፋ፣ ጥቂት ማር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከደባርቅ የመጣ ጦስኝ። ሙሉ ዶሮ፣ እንደ ታጠበ ሕፃን ተኮራምቶ! ዓይኔን ወደ አጥሩ መለስኩ።

ምክንያቱን ጠየቅሁ። ጨዉ በውኃው ተመርቶ እስከ አጥንት ይዘልቃል፤ ጢሱ ውጭውን ሲያደርቅ ውስጡ ወዙን ይይዛል፤ ይህ ግን ሌሊቱን ካደረ ብቻ ነው፤ አለች። እርሷ የአክስቷ ልጅ ሠርግ አለባት፤ ሠርጉ አይከል ከተማ ስለሆነ እዚያው ታድራለች። ነገ ከቅዳሴ ስመለስ አውጥቼ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቄ እንድሰቅላቸው አደራ ሰጠችኝ። «ከዚያ በፊት ግን አደራ አባባ፣ እንዳይነኩብኝ» አለች። የሚወስዳት ማኪና ጥሩምባውን ነፋ፤ ሄደች።

ያው ዕለት፣ ፲፩ ሰዓት

ክዳኑን አነሣሁ። ዝንብ ገብቶ እንደሆነ ላይ ብዬ ነው። ውኃው ቀልቷል።

ኦሪትም ሐዋርያትም በደም ነገር አንድ ቃል ናቸው። ሥጋ በደሙ ውስጥ አድሮ ከቤቴ ወጥቶ ለሠርገኛ ሊቀርብ? በእኔ በየኔታው እጅ ታርዶ? አደራ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ሕግ ግን ከአደራ ይቀድማል።

ደፋሁት። በሎሚ አሸሁ፤ አለቀለቅሁ፤ ደፋሁ፤ ደግሜ ቀዳሁ። ውኃው እንደ ምንጭ እስኪጠራ። ከዚያ አድርቄ ጓዳ ሰቀልኳቸው። የጥር ብርድ ያቆያቸዋል።

ጎረቤታችን እትዬ ይርገዱ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ አገኘችኝ። የኔታ፣ ዶሮ ማጠብ ጀመሩ? ምነው፣ ሚስት ላፈላልግልዎት? አለች። ባሏ አያ ተገኘ ከውስጥ ሲንከተከት ሰማሁት። ወንድ ልጅ ዶሮ ሲያጥብ መታየቱ ነውር ነው። ስለ ሕግ ሲሆን ግን ክብር ነው። ክብር ነው።

እሑድ፣ ጥር ፲፯፣ ማታ

የሻ. እኩለ ቀን ላይ ተመለሰች። የተሰቀሉትን አይታ መረቀችኝ። «ሸጋ አርገው አደረቁልኝ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ» አለች። የታጠበ ነገር ዜና አይደለምና አሜን ብቻ አልኩ።

በርሜሉን አነደደች። ጢሱ ቀጭን፣ ሰማያዊ፤ ሰፈሩን ሁሉ አወደው። ዳዊቴን ገለጥኩ፤ ዘጋሁ። ተነሣሁ፤ ተቀመጥኩ። ስመ እግዚአብሔር የተጠራበት ዶሮ፣ ጠርቶ የታጠበ፤ ታዲያ ምን ያቁነጠንጠኛል?

ቆዳቸው እንደ ማር ቀልቶ ወጣ። እኔ ራሴ ቆሜ አየሁ።

ሰኞ፣ ጥር ፲፰፣ ፱ ሰዓት

ከአራዳ ተመለሰች። ዶሮዎቹም ተመለሱ።

የሆቴሉ ሼፍ መልኩን አድንቆ ቆረጠ፤ ቀመሰ፤ ሹካውን አስቀመጠ። ጨው የለው፣ ወዝ የለው፤ ወይራ የታጠነ ገለባ ነው አላት። የሻ. ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ጨዉን ስንት ጭልፋ እንደ ጨመረች በጣቷ ትቆጥራለች። አነሰ እንዴ? በሠርጉ ጥድፊያ ረስቼው ይሆን? እያለች ራሷን ስትወቅስ ሰማሁ።

እኔ ለማንም ዋሽቼ አላውቅም፤ ለልጄ አልጀምርም። ጨዉ ልክ ነበር፤ አንቺ እንደ ወጣሽ ደፍቼ ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ደም ነበረበት፤ አልኩ። ቆሜ ነው የተናገርኩት።

ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። «ደሙማ ሲያርዱ በእጅዎ ፈሷል፣ አባባ» አለች። ደግሞም፦ «አደራዬን ግን...» አልጨረሰችውም፤ ወደ ጓዳ ገባች።

ሼፉ ሌላ አንድ ዕድል ሰጥቷታል፤ እሑድ፣ ጾመ ነነዌ ከመግባቱ በፊት። ቅዳሜ እንዳርድላት በበሩ በኩል ጠየቀችኝ። በደሙ ውስጥ ለሚያድር ሥጋ ቢላዋዬን አላነሣም አልኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር ፲፱፣ ረፋድ

ወደ ንስሐ አባቴ ወጣሁ። ቅኔ ቤት አብረን ቁራሽ የለመንን ነን፤ አይፈራኝም። ነገሩን ከነማስረጃው ዘረዘርኩ። እስክጨርስ ጠበቀ። ከዚያ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ለዶሮ ሱባዔ ልትገባ ነው?»

ስቆ ሲበቃው ጠየቀኝ። በጥምቀት ማግሥት በእኔ ቤት ቁርጥ ስትበላ እጅህ በምን ቀልቶ ነበር? ያን ጊዜ ኦሪቱ የት ሄዶ ነበር? የታረደው በአንገቱ ደሙን ሰጥቷል፤ ከሥጋው የሚወርደው ወዝ ነው፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል፤ አለ። ጨመረና፣ ስለ ደሙ ይህን ያህል ስትተነትን ስለ አደራው አንዲት ቃል አላነሣህም፤ አለኝ።

ተቆጥቼ ወጣሁ፤ መስቀል እንኳ ሳልሳለም። ቅጥሩን ካለፍኩ በኋላ ትዝ አለኝ። ተመልሼ ተሳለምኩ።

ሐሙስ፣ ጥር ፳፩፣ አስተርእዮ ማርያም

ለምሳ የተመለሰው ዶሮ ቀረበ። ደረቅ ነው፤ አልክድም። በሁለት ጉንጬ እያዞርኩ እስከ አጥንቱ በላሁት፤ ውኃ ሳልጠይቅ። የሻ. አየችኝና ውኃ አቀረበች። ጠጣሁ።

እትዬ ይርገዱ ለበዓሉ ጠላ ይዛ መጣች። አጠገቤ ቁጭ ብላ ስለ እርዱ ለልጄ ታወራለች፣ እኔ የሌለሁ ይመስል። አያ ተገኘ ላርድልሽ ብሎ ነበር፤ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ባለፈው የእኛን ዶሮ ግማሽ አንገት አርዶ ለቀቃት፤ ጣራ ላይ ወጣች! የሻ. ሳቀች። ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ሳትጨርስ፣ ወንድ ከጠፋ ራሴ አርዳለሁ፤ አለች።

ሴት ልጅ! በእኔ ግቢ! እትዬ ይርገዱ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣለች፤ ልትስቅ ይሁን ልታማትብ አልገባኝም። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። የልጄ የጉዞ ቦርሳ ከቁም ሣጥኑ ላይ ወርዶ አልጋዋ ሥር ተቀምጧል። ይህንንም አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ዓርብ፣ ጥር ፳፪

ጾም። ወደ አራዳ ወረድኩ፤ ምንም አልገዛሁም፤ ተመለስኩ። ወንበሩን ወደ ፀሐይ አወጣሁ፤ ወደ ጥላ መለስኩ።

ከሰዓት ቢላዋውን ስስል ራሴን አገኘሁት። ማን አዘዘው? እንጃ።

ቅዳሜ፣ ጥር ፳፫፣ ከቀትር በኋላ

አረድኩ።

ጠዋት ከእርሷ በፊት ተነሥቼ ዶሮዎቹን ከቆጡ አወጣሁ። የሻ. እጇን አጣጥፋ ከበሩ ቆመች። አስቀድሜ ሕጌን ተናገርኩ። ከጨዉ በፊት፣ እናትሽ እንደምታደርገው፣ በሎሚ እየታሸ ውኃው እስኪጠራ ይታጠባል፤ ተዘቅዝቆ ይንጠፈጠፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የአንቺ ነው። አሰበችና «የመጀመሪያው ውኃ የእርስዎ፣ የኋለኛው የእኔ» አለች። ተስማማን። አጥሩ ላይ እትዬ ይርገዱ ነበረች፤ ምስክር አልጎደለንም።

አጠበች። እኔ ውኃ ቀዳሁ። ጠራ። ተንጠፈጠፈ። ከዚያ አሠረቻቸው፤ ሳይበለቱ፣ እንዳሉ፤ ከተተቻቸው፤ ከደነች። ነገ ሲነጋጋ ታወጣቸዋለች፤ ረፋዱን ጢስ ላይ ይውላሉ።

ያው ዕለት፣ ፲፪ ሰዓት ሊሆን ሲል

ባልዲው ጓዳ ነው። በጓዳው በር ሳልፍ ሳልፍ ዋልኩ። አንድ ጊዜ ጨው ፍለጋ፤ አንድ ጊዜ ምንም ፍለጋ። የሻ. ራሷ ከፍታ አይታ፣ ዛሬም ትንሽ ቀልቷል፤ ካሁኑ ልንገርዎት፤ አለች። ልጄ ናት፤ አትሸፋፍንም።

ልቤ የንስሐ አባቴን ቃል ተቀብሏል። ወዝ ነው። አምኛለሁ። እጄ ግን አላመነም። እኔ ደግሞ ከእርሷ ቀድሜ ለኪዳን የምነሣ ሰው ነኝ፤ እርሷ ተኝታ፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ ባልዲው ሁለት እርምጃ ላይ። ራሴን አውቀዋለሁ። ሥላሴን ጠርቼ እደፋዋለሁ።

ስለዚህ ነገርኳት። ዛሬ አያ ተገኘ ቤት አድራለሁ፤ ከዚያው ወደ ቤ/ክ እሄዳለሁ፤ ዶሮዎቹ ሆቴል እስኪደርሱ ወደዚህ ደጅ አልመለስም። ምነው አባባ፣ ገና ለገና ለባልዲ ብለው ከቤትዎ ሊወጡ? አለች። አዎ አልኩ። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቀች። ጋቢዬን አጥፋ አመጣችልኝ።

እትዬ ይርገዱ መደቡ ተነጥፏል እያለች በአጥሩ ትጣራለች። የጓዳውን ቁልፍ ለየሻ. ሰጠሁ። ነገ የሆቴሉ ሰው ምን እንደሚል የእርሱ ፈንታ ነው። የእኔ ድርሻ ይህችን እጄን ይዞ ከቤቴ መውጣት ነው፤ እነሆ ወጣሁ።